ስቲም ዴክ፣ አላይ ወይስ ያገለገለ ላፕቶፕ? ከውጭ ለማስመጣት ላሰባችሁ

«ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው አለ፣ ለጌም የቱን ላስመጣ?» ይህ ጥያቄ ማለቂያ የለውም። መልሱ ግን አጭር ነው፦ ስቲም ዴክ፣ ማለትም ስቲም የሚባለው የጌም ሱቅ ባለቤት ቫልቭ የሚሠራው፣ የኮምፒውተር ጌም በእጅ ይዘው የሚጫወቱበት ዕቃ። ከእሱም ኦሌድ ስክሪን ያለው፣ ባለ 512 ጊጋው፣ ከተገኘ ደግሞ ራሱ ቫልቭ አድሶ የሚሸጠው። ሌላው ሁሉ ወይ ይበልጥ ያስከፍላል፣ ወይ ኋላ ጥገና ቤት ያመላልሳል። አንድ ነገር ብቻ ይህን መልስ ያፈርሳል፤ እሱም የእግር ኳስ ጌም ነው።

ዴክ የሚሠራው ስቲምኦኤስ በተባለ ሊኑክስ ነው። ለዊንዶውስ የተሠሩ ጌሞችን የሚያስነሳው ፕሮቶን የሚባለው ፕሮግራም ሲሆን፣ ብቻችሁን የምትጫወቷቸውን አብዛኞቹን ያለ ጣጣ ያስኬዳል። እንቅፋቱ አንቲ-ቺት፣ ማለትም ጌም ላይ ማጭበርበርን የሚከለክለው ፕሮግራም ነው። የእግር ኳስ ጌሞቹ ኤፍሲ 24 እና ኤፍሲ 25 የሚጠቀሙት አንቲ-ቺት የዊንዶውስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ የሚገባ በመሆኑ ሊኑክስ ላይ አይነሱም። «እኔ ኬሪየር ሞድ ብቻ ነው የምጫወተው» ማለት አያድንም፤ ጌሙ ገና ሲከፈት ነው የሚዘጋው። ቫሎራንት፣ ፎርትናይት፣ ኮል ኦፍ ዲዩቲ እና ሊግ ኦፍ ሌጀንድስም እንዲሁ። ኤፔክስ ሌጀንድስ ይሠራ ነበር፣ በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ላይ ሊኑክስን ዘጋ። ጂቲኤ 5 ታሪኩ ይሠራል፣ ኦንላይኑ አይሠራም። ዶታ 2 እና ካውንተር-ስትራይክ 2 ግን በቀጥታ ለሊኑክስ ተሠርተው የሚወጡ ናቸው። ስለሌላው ጌም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ፕሮቶንዲቢ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልጉ፤ የሌሎች ተጫዋቾችን ውጤት ታገኛላችሁ።

ሻጭ «ዊንዶውስ ይጫንበታል» ቢላችሁ ውሸት አይደለም፣ ይጫናል። ግን ዴክን ዴክ ያደረገው ነገር፣ ማለትም ማብሪያውን ሲጫኑት ተኝቶ ዳግም ሲጫኑት ጌሙ ካቆመበት የሚነሳው፣ ኮንትሮለሩም ምንም ሳይነካ የሚሠራው፣ አብሮ ይሄዳል። ለኤፍሲ ብቻ ከሆነ ያገለገለ ፒኤስ 4 ግዙና ይህን ጽሑፍ ዝጉት።

ዋጋው

በዶላር ነው የምቆጥረው፤ በብር የተጻፈ ዋጋ ሳምንት አይቆይም። ኦሌዱ በኅዳር 2023 ሲወጣ ባለ 512 ጊጋው 549፣ ባለ 1 ቴራው 649 ዶላር ነበር። ቫልቭ አድሶ የሚሸጠው 439 እና 519 ነበር። የድሮው፣ ኤልሲዲ ስክሪን ያለው ዴክ በ2022 ሲወጣ በ399 ይጀምር ነበር፤ የታደሰው ባለ 64 ጊጋ እስከ 279 ወርዶ ነበር። የታደሰው እንደ አዲሱ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው፣ ችግሩ ሱቁ ውስጥ ገብቶ ወዲያው ያልቃል። የሚመጣው ሰው ትኬት ከመቁረጡ ከወር በፊት መከታተል ጀምሩ። የሚሞሪ ዋጋ እንደ ጨረቃ ስለሚለዋወጥ በምትገዙበት ቀን ዋጋውን አረጋግጡ።

279 እና 439ን ብቻ ካያችሁ ኤልሲዲው ርካሽ ይመስላል። ግን 64 ጊጋ አይበቃም፤ ሲስተሙና የጌሞች ሼደር ካሽ (ለሥዕሉ ቀድመው የሚቀመጡ ፋይሎች) ብቻ ግማሹን ይበሉታል። ስለዚህ ትልቅ ኤስኤስዲ (የውስጥ ማከማቻ) ትቀይራላችሁ፣ የሚገባበትም 2230 የሚባለው አጭሩ እንጂ ላፕቶፕ ላይ የለመዳችሁት ረጅሙ 2280 አይደለም። እሱን ገዝታችሁ፣ ከፍታችሁ፣ ሲስተሙን ዳግም ጭናችሁ ስትጨርሱ ልዩነቱ ከመቶ ዶላር በታች ይወርዳል። በዚያች ልዩነት ኦሌዱ የሚሰጣችሁ፦ በ40 ፈንታ 50 ዋት-አወር ባትሪ፣ 90 ኸርዝ ስክሪን፣ የተሻለ ዋይፋይ፣ ጸጥ ያለ ፋን። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ብሎኑ ነው። የኤልሲዲው ጀርባ ብሎኖች ፕላስቲኩን ራሳቸው እየበሱ የሚገቡ ናቸው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተከፈተ ጥርሱ ይበላል፣ ከዚያ ጀርባው እየላላ አቧራ ይገባበታል። ኦሌዱ ላይ ቶርክስ (ባለ ኮከብ ራስ) ብሎን ወደ ብረት ጥርስ ነው የሚገባው። ዕቃ በየጊዜው ከፍቶ ማጽዳት ግድ በሚሆንበት አቧራማ ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቫልቭ ዴክን በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያም ሆነ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች አይልክም። ዱባይ ወይም ሪያድ ሱቅ ውስጥ የምታዩት ሌላ ሰው አስመጥቶ ትርፍ የጨመረበት ነው፤ ዋስትናውም የሱቁ እንጂ የቫልቭ አይደለም። ከአሜሪካ፣ ከካናዳ፣ ከእንግሊዝ ወይም ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚመጣ ዘመድ ካለ በእሱ በኩል ይሻላል። ዕቃው የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይግባ፤ ሊቲየም ባትሪ ያለበት ዕቃ በጭነት ሻንጣ መላክ ችግር ያመጣል።

ያገለገለ ስትገዙ

መጀመሪያ ኦሌድ ነው ወይስ ኤልሲዲ? የኦሌዱ ማብሪያ ብርቱካናማ ነው፣ የኤልሲዲው ጥቁር። ቁልፍ ሊቀየር ስለሚችል የሦስት ነጥቡን ቁልፍ ተጫኑና የስክሪኑን ፍጥነት እዩ፤ 90 ካልደረሰ ኦሌድ አይደለም። ባለ 64 ጊጋ ኤልሲዲ ላይ ትልቅ ኤስኤስዲ ከትቶ «ባለ 512» ብሎ መሸጥ የተለመደ ነው። ኦሪጅናሉ ባለ 512 ኤልሲዲ መስታወቱ ብርሃን የማያንጸባርቅ ደብዛዛ ነው፤ መስታወት መስሎ ፊታችሁን ካሳያችሁ ተቀይሯል ማለት ነው። የተቀየረ መሆኑ በራሱ ክፉ አይደለም፣ ግን በባለ 64ው ዋጋ ተከራከሩ።

ቀጥሎ ወደ ዴስክቶፕ ሞድ፣ ማለትም ዴኩ እንደ ተራ ኮምፒውተር ወደሚሠራበት ገጽ ግቡ። ኢንፎ ሴንተር የሚለውን ክፈቱና ኢነርጂ ውስጥ ባትሪው አሁን የሚይዘውን መጀመሪያ ይይዝ ከነበረው ጋር አስተያዩ። ኤልሲዲ ላይ ከ40 ውስጥ 32 ከቀረ ዋጋው መውረድ አለበት፤ ባትሪው በኃይለኛ ሙጫ የተለጠፈ ስለሆነ መቀየሩ ለማንኛውም ሞባይል ሰሪ የሚሰጥ ሥራ አይደለም። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ የኮንትሮለር መሞከሪያውን ከፍታችሁ ስቲኮቹን ሳትነኩ ተመልከቱ። ነጥቧ ከመሃል ከሸሸች ድሪፍት (ሳይነኩት የሚንሸራተት ስቲክ) አለበት።

ድሪፍት ይጠገናል፣ ግን ክፍሉን በጥንቃቄ እዘዙ። ኤልሲዲ ዴክ ሁለት ዓይነት የስቲክ ቦርድ አለው፣ የአንዱ ለሌላው አይሆንም፤ የኦሌዱ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ከፍታችሁ ቦርዱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ኮፒ ስቲክ ወር ሳይቆይ መልሶ ይንሸራተታል፤ ጉሊኪት የሚያመርተው ባለ ማግኔቱ ዓይነት፣ ሆል የሚባለው፣ የማይፋቅ ስለሆነ ዋጋው ቢበልጥም እሱን ነው የምመክረው። ከተገጠመ በኋላ ዴስክቶፕ ሞድ ላይ ባለው የስቲክ ማስተካከያ ትእዛዝ ካሊብሬት ካልተደረገ ጤነኛው ስቲክም የተበላሸ ይመስላል። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ «ክፍሉ ፌክ ነው» ብሎ ሁለተኛ ያስገዛችኋል።

ኤስኤስዲ ስትቀይሩ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የድምፅ መጨመሪያውንና ማብሪያውን አብራችሁ ይዛችሁ ባዮስ (ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት ያለው ሴቲንግ) ግቡ፣ ፓወር ውስጥ ባትሪውን ስቶሬጅ ሞድ ላይ አድርጉት፤ ቻርጀር እስኪሰካ ድረስ ጭራሽ አይነሳም። የሚሞሪ ካርዱን አውጡ። ይህን የረሳ ሰው ጀርባውን ሲስብ ካርዱን ለሁለት ይሰብራል፣ በጣም የተለመደ ጉዳት ነው። ስምንቱን ብሎን ስትፈቱ ረጅሞቹንና አጫጭሮቹን ለየብቻ አስቀምጡ። ውስጥ ያለውን የብረት ሽፋን አንሡ፤ ኤልሲዲው ላይ አንዱ ብሎን በብርማ ፎይል ሥር ተደብቋል፣ ሳታዩት ከጎተታችሁ ሽፋኑ ይጣመማል። የባትሪውን ገመድ ንቀሉ። አሮጌውን ኤስኤስዲ የሸፈነውን ብርማ እጀታ አውልቃችሁ ለአዲሱ አልብሱት። ቺፕ በአንድ ጎኑ ብቻ ያለው ይሁን፤ ስም የሌለው ርካሹ ይግላል፣ ሲግል ጌሙ ይንቀረፈፋል። ከዚያ የቫልቭን ሪከቨሪ ፋይል የጫናችሁበትን ፍላሽ ሰክታችሁ የድምፅ መቀነሻውንና ማብሪያውን አብራችሁ ተጫኑ።

አላይ እና ሌሎቹ

የአሱስ ሮግ አላይ በሰኔ 2023 ወጣ፣ ዜድ 1 ኤክስትሪም ፕሮሰሰር ያለው 699 ዶላር ነበር። ከዴክ ይፈጥናል፣ ስክሪኑም 1080 እና 120 ኸርዝ ነው። ፍጥነቱን የምታገኙት ግን ሶኬት ላይ ስትሰኩት ነው፤ 40 ዋት-አወር ባትሪ በ25 ዋት ሲጠጣ ከሰዓት ተኩል አያልፍም። መብራት በሚሄድበት ሰፈር ይህ ብቻውን ይበቃኛል። የመጀመሪያው አላይ የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ በሙቀት ምክንያት እንደሚበላሽ አሱስ ራሱ አምኗል። ያገለገለ ከሆነ ካርድ አስገብታችሁ ከባድ ጌም ለ20 ደቂቃ አስኬዱ፣ ካርዱ ከጠፋ ተዉት። በ2024 የመጣው አላይ ኤክስ ባትሪውን 80 አድርሶ ይህን ፈትቷል፤ ዋጋውም 799 ሆነ። ኤፍሲን በእጅ ይዛችሁ ካልሆነ አይሆንም የምትሉ ትክክለኛው ዕቃችሁ እሱ ነው። የዊንዶውስ አፕዴት የሞባይል ዳታችሁን እንዳይጨርሰው ዋይፋዩን ሜተርድ (ዳታው የተገደበ) አድርጉት። ቦርሳ ስትከቱት ደግሞ በእንቅልፍ አትመኑት፣ ጨርሳችሁ አጥፉት፤ ዊንዶውስ በገዛ ፈቃዱ ይነቃና ቦርሳው ውስጥ ሲግል ይቆያል።

ሌኖቮ ሌጅን ጎ 854 ግራም ነው። አልጋ ላይ ተኝቶ ለሚጫወት ሰው ክንድ ይጨርሳል፤ አለፍኩት። ሌጅን ጎ ኤስ በስቲምኦኤስ ተጭኖ በ2025 ወጥቷል፣ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን ሲወጣ ርካሹ ሞዴል ከዴክ ኦሌድ ዋጋ በላይ ነበር።

መርካቶ ውስጥ «10 ሺህ ጌም ያለው» ተብለው የሚሸጡት ትናንሾቹስ? አር 36 ኤስ እና ኮፒዎቹ ናቸው። ሊኑክስ ላይ ይሠራሉ፣ የሚያስኬዱት ግን የፒሲ ጌም ሳይሆን የፕሌይስቴሽን 1 እና ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ለልጅ ይሆናል። አብሮት የሚመጣው ሚሞሪ ካርድ ቶሎ ስለሚሞት በመጀመሪያው ቀን ሙሉውን ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። የኮፒው ስክሪን ስለሚለያይ ከኢንተርኔት ያወረዳችሁትን ሲስተም ስትጭኑ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ያኔ የሚያድናችሁ ያ የገለበጣችሁት ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ

ለትምህርትም ለሥራም ኮምፒውተር የሚያስፈልገው ሰው በእጅ የሚያዝ ዕቃ መግዛቱ ቅንጦት ነው፣ ላፕቶፑን ይግዛ። ሻጩ «ግራፊክስ ካርድ አለው» ሲል ግን አታቁሙ። አሁን ያለው ፕሮቶን ቨልካን 1.3 ይጠይቃል፤ ቨልካን ጌሙ ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ነው። ከስድስተኛው ትውልድ በፊት ያለ የኢንቴል ግራፊክስ እና ጂቲ 740ኤም የመሰሉ ኬፕለር የሚባለው የድሮ የኤንቪዲያ ትውልድ ካርዶች አይበቁም፤ አሮጌ ፕሮቶን ካልተጠቀማችሁ ጌሙ ሳይከፈት ይዘጋል። ጂቲኤክስ 1050 እና 1060 ይሠራሉ፣ ግን ኤንቪዲያ ለእነሱ የሚያወጣው የመጨረሻው የድራይቨር ትውልድ 580 ነው። ከ1650 ጀምሮ ያለው ይሻላል። ሚንት የሚባለውን ሊኑክስ ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ሱቁ ውስጥ አስነሡት፣ ቨልካንኢንፎ የሚባለውን አስኪዱ። የካርዱ ስም ከመውጣት ፈንታ ኤልኤልቪኤምፓይፕ ብቻ ካሳያችሁ ሥዕሉን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ነው። ኤንቪዲያ ከሆነ ድራይቨሩ ገና ስላልተጫነ ሊሆን ይችላል፣ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ከሆነ ግን ጥሩ ምልክት አይደለም።

ከዊንዶውስ የተረፈውን፣ በኤንቲኤፍኤስ (በዊንዶውስ የፋይል አቀማመጥ) የተዘጋጀ ዲስክ እንደ ስቲም ማከማቻ አትጠቀሙበት። ፕሮቶን ስማቸው ላይ ሁለት ነጥብ ያለባቸው ፋይሎች ይፈጥራል፣ ኤንቲኤፍኤስ ላይ ያ ይበላሻል፤ ጌሙ «ሩኒንግ» ብሎ ይጀምርና ይመለሳል። ዲስኩን የሊኑክሱን ኤክስት 4 አድርጉት።

ዳታ፣ ቻርጀር፣ ካርድ

60 ጊጋ ጌም በሞባይል ዳታ አይወረድም። አንድ ጓደኛችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ካለው፣ ሁለታችሁም አንድ ራውተር ላይ ሆናችሁ ስቲም ዳውንሎድ ሴቲንግ ውስጥ በሎካል ኔትወርክ ማስተላለፍን ክፈቱ፤ ፋይሉ ከኮምፒውተሩ ይመጣል፣ ከኢንተርኔት የሚጎትተው ትንሽ ነው። ጌሙን ግን እናንተም ገዝታችሁት መሆን አለበት። ዴስክቶፕ ሞድ ላይ ሼደር ፕሪ-ካሺንግን አጥፉ፤ በየጊዜው ሳታውቁት የሚያወርደው እሱ ነው። ሲጠፋ ጌሙ መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ይንተባተባል፣ ታገሡት። ኢንተርኔት ሳይጠፋ እያንዳንዱን ጌም አንዴ ክፈቱት፣ ያለበለዚያ ኦፍላይን ላይነሳ ይችላል። ካርድ የሌላችሁ ከሆነ ውጭ ያለ ዘመድ የስቲም ዲጂታል ስጦታ ካርድ ሊልክ ይችላል፣ ስቲም ላይ ጓደኛ ከሆናችሁ 3 ቀን ካለፈ።

የዴክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። ከአሜሪካ ለመጣው የሶኬት አዳፕተር ብቻ በቂ ነው፣ ትራንስፎርመር ግዙ የሚላችሁን አትስሙ። ፓወር ባንክ ስትገዙ 15 ቮልት በ3 አምፒር የሚል ተጽፎበት ፈልጉ። የስልኩ 22.5 ዋት ፓወር ባንክ ከባድ ጌም ላይ ባትሪው ሲወርድ ከማየት አያድንም። «45 ዋት» ተጽፎበት ዴኩ ቀስተኛ ቻርጀር ነው ብሎ ካስጠነቀቃችሁ ጽሑፉ ውሸት ሊሆን ይችላል።

ሚሞሪ ካርድ ላይ «1 ቴራ» ተብሎ በባለ 256 ጊጋው ዋጋ የሚሸጥ እውነተኛ የለም። ውስጡ 32 ጊጋ ሆኖ 1 ቴራ ነኝ እንዲል የተደረገ ነው፤ 32ቱ እስኪሞላ በደንብ ይሠራል፣ ከዚያ አዲሱ ፋይል አሮጌውን እየበላ ጌሞቹ አንድ በአንድ ይበላሻሉ። ዊንዶውስ ላይ ኤች 2 ቴስት፣ ሊኑክስ ላይ ኤፍ 3 የሚባሉት ፕሮግራሞች ካርዱን እስከ ጫፉ ሞልተው አንብበው እውነተኛ መጠኑን ይነግሯችኋል። ሰዓታት ይፈጃል፤ ስለዚህ ሻጩ «ነገ ካልሆነ መልሰው» የሚል መሆኑን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።