«ፎርማት ላድርገው?» ብሎ የማይጀምር ኮምፒውተር ቤት

ዊንዶውስ 11 መጫን ራሱ ይሄን ያህል ሥራ አይደለም። አንዴ ካስጀመራችሁት ኮምፒውተሩ ራሱ ይጠፋል፣ ራሱ ይነሳል፣ እናንተ ቡናችሁን ትጠጣላችሁ። ጣጣው ያለው ከዚያ በፊት ነው። ብዙው ኮምፒውተር ቤት ደግሞ ይሄን ጣጣ የሚገላገለው ፎርማት በማድረግ ነው። ያለውን ጠርጎ አዲስ መጫን ለሠሪው ቀላል ነው፤ ፋይሉ የጠፋበት ሰው ግን ሲያለቅስ ይኖራል።

መገናኛ አካባቢ፣ አንዱ ሕንጻ ላይ ያለ ጠባብ ኮምፒውተር ቤት የቤታችንን ዴስክቶፕ ከ10 ወደ 11 አሳድጎልናል። ፎርማት ሳያደርግ። ስሙን አልጠራም፣ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። ግን እንዴት እንደሠሩ ከነገርኳችሁ እናንተም ሰፈራችሁ ያለውን በዚሁ መለካት ትችላላችሁ።

ለምን አሁን ለምትሉ፣ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማለት ነው። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም። ነገር ግን ኋላ የምነግራችሁን የተራዘመ አፕዴት ካልተመዘገባችሁ በቀር አዲስ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝበት የሚደፍንለት የለም። ቤታችን ያለው ኮምፒውተር ላይ የባንክ ሥራ ስለሚሠራበት ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሲፒዩውን ተሸክሜ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው የሚሠራው ልጅ ገመድ እንኳን አልሰካም። ወረቀት አወጣና «እህቴ፣ ይሄን ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ማን ማን ነው የሚጠቀምበት? ምን ምንስ ይሠሩበታል?» አለኝ። እውነቴን ነው፣ ኮምፒውተር ይዤ በሄድኩባቸው ቤቶች ይሄን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የሚጠየቀው «ፓስወርዱ ስንት ነው?» ብቻ ነው።

ባለቤቴ ከሥራ ውጪ ለአንዳንድ ነጋዴዎች ሒሳብ ይሠራል፣ ያውም ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም፣ ያውም በድሮው 2010። ይሄን ስነግረው ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ፎልደሩን ገልብጦ ማስቀመጥ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ፒችትሪ ውስጥ ራሱ ተገብቶ የእያንዳንዱ ድርጅት ባክአፕ ለየብቻ መውጣት እንዳለበት፣ የመጫኛው ሲዲና የሲሪያል ቁጥሩም ቤት መኖሩ መረጋገጥ እንዳለበት አስረዳኝ። «ለጋሼ ይደውሉላቸው» አለኝ። ባለቤቴ በስልክ እየነገረው አንድ በአንድ ፒቲቢ የሚል መጨረሻ ያላቸውን ፋይሎች አውጥተው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀመጡ። አንዱን ደግሞ መልሶ ከፍቶ አየው። ባክአፕ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው፤ ባክአፑ መከፈቱን የሚያይ ግን ስንት አለ?

ቀጥሎ የአባባ ፋይል። አባቴ የእድር ጸሐፊ ናቸው፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤውን ሁሉ እሳቸው ናቸው የሚጽፉት። ልጁ አንድ የቆየ ቃለ ጉባኤ በወርድ ከፈተና ሁሉንም ጽሑፍ መርጦ ፎንቱን ወደ ኒያላ ቀየረው። ገጹ በሙሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተበተነበት ሆነ። አባባ ቢያዩት ኖሮ እዚያው ይወድቁ ነበር። ወዲያው መለሰውና አሳየኝ፦ ፎንቱ ሲቀየር አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቆየ ጽሑፉ በዩኒኮድ ነው የተጻፈው፣ የትም ኮምፒውተር ላይ ይነበባል። እንዲህ ከተበተነ ግን በድሮ የግዕዝ ፎንት ነው የተጻፈው፣ ያ ፎንት ከሌለ ጽሑፉም የለም። ማለትም ያኔ ፋይሎቹ ብቻ ተገልብጠው ፎርማት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ፋይሎቹ በሙሉ አሉ፣ የሚያነባቸው ግን አይኖርም ነበር። ልጁ የፎንቶቹን ፋይል ለብቻው ገልብጦ አስቀመጠ፣ ዋና ዋናዎቹን ቃለ ጉባኤዎች ደግሞ በፒዲኤፍ አወጣቸው። አማርኛ የሚተየብበት ቤት ያለ ሰው ሁሉ ይሄን ሙከራ ዛሬውኑ ያድርግ፣ ለማሳደግም ባይሆን። ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ ሃርድ ዲስኩን መረመረው። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ሰማያዊ፣ ካጠራጠረ ቢጫ፣ ከከፋ ቀይ ያሳያል። የኛ ቢጫ ነበር። እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ ትልቅ ሥራ መጀመር በተሰነጠቀ ማሰሮ ውኃ እንደመቅዳት ነው አለኝ፣ እኔም አልተከራከርኩም። ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ገዛን፣ ያለውን እንዳለ ወደ እሱ ገለበጠው። እዚህ ጋ ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነው ብላችሁ የምትጠረጥሩ ትኖራላችሁ፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር። ግን ራሙን ላሳድግ ወይ ስለው «8 ጊጋ አለው፣ ለዚህ ሥራ ይበቃል፣ ብርዎን ያስቀምጡ» ነው ያለኝ። ሊሸጥ የሚፈልግ ሰው እንዲህ አይልም። ሃርድ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ 11 መጫን ይቻላል፣ ግን መዘግየቱን አትችሉትም።

ከመገልበጡ በፊት ሲ የሚባለው ድራይቭ ሞልቶ ቀይ ሆኖ ስለነበር መጽዳት ነበረበት። ምን ሞላው? ቴሌግራም። ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ፎልደር አለ፣ ከፍታችሁ እዩት። የሰው ሰርግ ቪዲዮ፣ ሦስት ጊዜ የወረደ ያው አንድ ፒዲኤፍ፣ የቡድን ግሩፕ ፎቶ፣ ምን አለፋችሁ፣ የሌለ ነገር የለም። ልጁ ራሱ አልሰረዘም፣ እኔን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና «የርስዎን እርስዎ ይለዩ» አለኝ። ትንሽ አሰለቸኝ፣ ልክ ግን ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ኮምፒውተሩ ከዱባይ የመጣ ዩዝድ ዴል ነው፣ ኮር አይ ፋይቭ፣ 8ኛ ጄኔሬሽን። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል የሚቀበለው ባጠቃላይ ከ8ኛው ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው፤ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማከማቻ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕና ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታመነ ነገር እንዳይገባ የሚያግደውን ሴኪዩር ቡትንም ይፈልጋል። የኛ ሁሉንም ያሟላል። እንዲያም ሆኖ ቤት እያለሁ ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባለውን የማይክሮሶፍት መመርመሪያ ሳስኬደው አይሆንም ነበር ያለኝ። አንድ ሌላ ኮምፒውተር ቤት ይሄንኑ ስነግረው «በቃ አርጅቷል፣ ሌላ ግዢ» ብሎኝ ነበር።

ይሄኛው ልጅ ዊንዶውስና አርን አንድ ላይ ተጭኖ «ኤምኤስኢንፎ32» ብሎ ጻፈ። በወጣው ገጽ ላይ ባዮስ ሞድ (ኮምፒውተሩ የሚነሳበት መንገድ) የሚለው ጎን «ሌጋሲ»፣ ማለትም የድሮው፣ ይላል። ነገሩ ይሄ ነው፦ ከዚህ በፊት የሆነ ሰው ኮምፒውተሩን ፎርማት ሲያደርግ በድሮው መንገድ ነው የጫነው፣ ስለዚህ ሴኪዩር ቡት ተዘግቷል፣ ዲስኩም ኤምቢአር በሚባለው አሮጌ አከፋፈል ተከፋፍሏል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የሚፈልገው ዩኢኤፍአይ የሚባለውን አዲሱን አነሳስና ጂፒቲ የሚባለውን አዲሱን የዲስክ አከፋፈል ነው። ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው፣ አጫጫኑ ነው የተበላሸው።

መፍትሔው ዊንዶውስ 10 ውስጥ ራሱ ተቀምጧል፣ ኤምቢአር2ጂፒቲ ይባላል፣ ፋይል ሳያጠፋ ዲስኩን ይቀይራል። ልጁ ጥቁሩን መስኮት በአድሚን ከፍቶ መጀመሪያ «ቫሊዴት» የሚለውን አስኬደ፣ ይሄ ምንም ሳይነካ ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን ብቻ የሚያይ ነው። ተሳክቷል የሚል መልስ ሲመጣ ወደኔ ዞሮ «ባክአፑ ኤክስተርናሉ ላይ መሆኑን አይተዋል አይደል?» አለኝ። አይቻለሁ አልኩት። ከዚያ በኋላ ነው «ኮንቨርት» ያለው። ቀጥሎ ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ፣ ውስጥ ገብቶ ወደ ዩኢኤፍአይ አዞረው፣ ሴኪዩር ቡትንና ቲፒኤሙን አበራ። ፒሲ ሄልዝ ቼክን መልሶ ሲያስኬደው አረንጓዴ ምልክት ወጣ። ሌላ ግዢ የተባልኩት ኮምፒውተር ነው እንግዲህ!

እግረ መንገዴን፣ ላፕቶፕ ያላችሁ ሰዎች ባዮስ ከመነካካታችሁ በፊት ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር መብራት አለመብራቱን እዩ። ከበራ ባዮሱ ሲቀየር 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁልፉ ብዙውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ይገኛል፣ ግን የአካውንቱን ፓስወርድ የሚያስታውስ ስንቱ ነው? ቀድማችሁ አውጡና ወረቀት ላይ ጻፉት። እዚያው ላፕቶፑ ውስጥ እንዳታስቀምጡት ብቻ።

ስለ መብራት ሳልናገር አላልፍም። ዲስክ እየተቀየረ፣ ባዮስ እየተነካ መብራት ቢሄድ ጉድ ነው የሚፈላው። ይሄ ቤት ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ፣ አለው፣ ኮምፒውተሩን ከመጀመሪያው እዚያ ላይ ነው የሰካው። ቤታችሁ ልትሠሩት ካሰባችሁና ዩፒኤስ ከሌላችሁ ይቅርባችሁ፣ ውሰዱት። ዊንዶውሱንም ቢሆን ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ፍላሽ አልጫነም። ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ የወረደ ነው፣ ልክ መሆኑን ማረጋገጫ ኮዱንም አስተያይቶ አሳይቶኛል። ዊንዶውሱ ሕጋዊ መሆኑንም አይቷል። ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ያለው ሰው ወደ 11 ለማሳደግ ለማይክሮሶፍት የሚከፍለው የለም። በክራክ የተጫነ ከሆነ ግን እነዚህ አክቲቬተር ተብዬዎች አንቲቫይረሱን አዘግተው ስለሚገቡ እዚህ ላይ መጨነቅ ያዋጣል።

አሁን ወቀሳ። ዋጋቸው ሌላ ቦታ ፎርማት ከሚያስከፍሉት እጥፍ ገደማ ነው፣ ኤስኤስዲውን ሳይጨምር። ለተሠራው ሥራ አይበዛም፣ ግን ቀድመው አይነግሩም፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣባችሁ፣ ደረሰኝም ካልጠየቃችሁ አይቆርጡም። ሌላው ያን ሁሉ ሲጠይቅ የዋለ ልጅ ስለ ፕሪንተር አልጠየቀም። ቤት ወስጄ ስሰካው አሮጌዋ ፕሪንተራችን ዝም አለች፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባት ድራይቨር የሚሉት ፕሮግራም ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር አልተስማማም። አባባ ደግሞ በማግስቱ የእድር ማስታወቂያ ማተም ነበረባቸው። ስደውልለት አልሸሸም፣ በስልክ እየመራኝ ሌላ ድራይቨር ጭነን ሠራች። ቢሆንም ጥያቄው ወረቀቱ ላይ መኖር ነበረበት። እናንተ ሳትጠየቁ ንገሩ፦ ፕሪንተር፣ ስካነር፣ የጣት አሻራ ማሽን፣ ያላችሁን ሁሉ።

እንዲህ ዓይነት ነገር የማይስተካከል ሆኖ ቢገኝ እንኳን ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ ይቻላል። የቆየው ዊንዶውስ.ኦልድ በሚባል ፎልደር ለ10 ቀን ይቀመጣል፣ ሴቲንግ ውስጥ ሪከቨሪ ብላችሁ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ በነዚህ ቀናት ቦታ ላስለቅቅ ብላችሁ ያንን ፎልደር እንዳታጸዱት። የምትጠቀሙበትን ፕሮግራምና ዕቃ ሁሉ በዚያው ሳምንት ሞክሩ፣ ወሩ መጨረሻ ላይ ፒችትሪ ካልተከፈተ መመለሻ የለም።

ሌላ አንድ ነገር ስላስገረመኝ ልጨምር። የእህቴን ላፕቶፕም ይዤ ሄጄ ነበር፣ 6ኛ ጄኔሬሽን። ማለፊያ ዘዴ እንዳለ ሰምቼ «ይሄንንም በግድ ጫንልኝ» አልኩት። እምቢ አለ። መጫኑ እንደሚቻል፣ ነገር ግን ማይክሮሶፍት እንዲህ ላለ ኮምፒውተር አፕዴት እሰጣለሁ ብሎ ቃል እንደማይገባ፣ ተበላሽቶ ብመጣ እሱም ኃላፊነት እንደማይወስድ ነገረኝ። ከዚያ ይልቅ ዊንዶውስ 10 ላይ የተራዘመውን የደህንነት አፕዴት አሳየኝ፣ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚቆይ። በ30 ዶላር ይሸጣል፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ ሴቲንጉን ባክአፕ ለሚያደርግ ደግሞ በነጻ ነው። መመዝገቢያው ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ነው፣ ዊንዶውሱ 22ኤች2 የሚባለው የመጨረሻው የዊንዶውስ 10 ቨርዥን መሆን አለበት። ከዚያ ወዲያ ወይ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ነጻው ሊነክስ ሚንት ወይ ሌላ ላፕቶፕ ነው አለ። እህቴ ኢንተርኔትና ወርድ ብቻ ነው የምትጠቀመው፣ ሊነክሱን እያሰበችበት ነው።

ከአምስት አራት ሰጥቻቸዋለሁ፤ አንዷ የተቀነሰችው በዋጋውና በፕሪንተሩ ነው። የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ሂዱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ተማሪ ይሞላዋል። የማይክሮሶፍት አካውንታችሁን ፓስወርድ፣ የምትጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች መጫኛና ባዶ ኤክስተርናል ይዛችሁ ሂዱ። ኤክስተርናል ከሌላችሁ እነሱም ያከራያሉ፣ ግን የራሳችሁ ቢሆን ይሻላል፣ ባክአፑ እናንተ ጋ ይቀራላ።