የግቢ ስዊሚንግ ፑል ኮምቦልቻ ላይ፦ ዋና የማይችል ጠባቂ የጻፈው ሪቪው

ቀድሜ ልናገር፣ እኔ ዋና አልችልም። ፑሉም የኔ አይደለም፣ ሪያድ ያለው ታላቅ ወንድሜ ኮምቦልቻ ቤት ሲያሠራ "ልጆቹ ለእረፍት ሲመጡ ይጫወቱበታል" ብሎ ጓሮ ያስቆፈረው ነው፣ እኔ ደግሞ ቤቱን የምጠብቀው እኔ ስለሆንኩ ገንዳውንም አብሬ ተረከብኩ። መጀመሪያ የሞላነው ጥር 2016 ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ "ስንት ፈጀ?" ይለኛል፣ ደሴ ያለ አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ጭራሽ እሱም ሊያስቆፍር እየተዘጋጀ ነው፣ እና አንዴ ጽፌው ልገላገል።

በብር አልነግራችሁም። ሐምሌ 22/2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ የፑል ዕቃ ደግሞ ከፓምፑ እስከ ክሎሪኑ ከውጭ ነው የሚገባው፣ ከዚያ በፊት የገዛሁት የክሎሪን በርሜልና ከዚያ በኋላ የገዛሁት መልካቸው አንድ ነው እንጂ ዋጋቸው አይተዋወቅም። ስለዚህ በሊትር በኪሎና በኪሎዋት እነግራችኋለሁ፣ እናንተ በሰማችሁት የዕለቱ ዋጋ አባዙት።

ገንዳው 8 ሜትር በ4 ሜትር ነው፣ ጥልቀቱ ከጫፍ ጫፍ ቢለያይም አማካዩ 1.4 ነው፣ ወደ 45 ሺህ ሊትር ይይዛል። በ20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ሲቆጠር 2,250 ጀሪካን። ይቺን ሂሳብ የሠራሁት እኔ አይደለሁም፣ የጎረቤታችን የእማማ የልጅ ልጅ ነው፣ ደብተሩ ላይ አስልቶ ለአያቱ ነገራቸው። መጀመሪያ የሞላን ቀን 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ቦቴ አምስት ጊዜ ተመላለሰ፣ ያን ሳምንት ደግሞ የሰፈራችን የውሃ ፈረቃ ቀርቶ ሰው ጀሪካኑን ደርድሮ ነበር። እማማ በራቸው ላይ ቆመው አዩኝና "ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ ለማን ሰርግ ነው?" አሉኝ። ምን እላለሁ፣ ሳቅ ብዬ አለፍኩ፣ ግን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም ወላሂ።

እና ፑል አንዴ ተሞልቶ የሚቀመጥ ነገር እንዳይመስላችሁ። በበጋ ፀሐይና ንፋሱ በቀን ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ይወስዳል፣ 32 ካሬ ሜትር ላይ ግማሽ ሳንቲ ማለት 160 ሊትር ነው፣ በሳምንት ከ1,000 ሊትር በላይ ዝም ብሎ ወደ ሰማይ ይሄዳል። እኔ መጀመሪያ ይፈስሳል ብዬ ሴራሚክ ላስነቅል ነበር፣ በኋላ አንድ ሰው ባልዲ አሳየኝ። ባልዲውን በገንዳው ውሃ ሞልታችሁ ደረጃው ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ የባልዲውንም የገንዳውንም ልክ በማርከር ታሰምራላችሁ፣ ፓምፑን አጥፍታችሁ 24 ሰዓት ትጠብቃላችሁ፣ ሁለቱም እኩል ከቀነሱ ፀሐይ ነው፣ ገንዳው ከባልዲው በላይ ከቀነሰ ስንጥቅ አለ። የኛ ሁለቱም ነበረበት! ስኪመሩ፣ ማለትም ላይ ላይ የሚንሳፈፈውን ቆሻሻ ከውሃው ጋር የሚስበው ሳጥን፣ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይፈስስ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሠሪዎቹ ልበል። ስማቸውን አልጠራም፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው፣ ቁፋሮውና ሴራሚኩ ሲያዩት ያምራል፣ ውሸት አልናገርም። ግን ዋተርፕሩፉን፣ ውሃ የማያሳልፈውን ቅብ፣ ቀብተው ሳይደርቅ ሴራሚክ ለጠፉበት፣ ስኪመሩ ዙሪያ በሲሚንቶ ብቻ ደፈኑት፣ ከሁሉ የባሰው ፊልተሩ ውስጥ ከወንዝ የተቀዳ የግንባታ አሸዋ ነው የሞሉት። የፑል ፊልተር አሸዋ ታጥቦ የተነፋ ሲሊካ ነው፣ ፍሬው ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም የማይበልጥ፣ የግንባታ አሸዋ ግን ደለል አለበት፣ ፓምፑን ባስነሳሁ ቁጥር ውሃው መጥራቱ ቀርቶ ሻይ ይመስል ነበር። ስደውልላቸው "ትሬኒንግ እንሰጥሃለን" ያሉኝ ልጆች ናቸው እስካሁን እየመጡ ያሉት። ለነሱ አንድ ኮከብ፣ እሱንም ለሴራሚኩ ቀለም ነው። አሸዋውን አስወጥቼ በትክክለኛው ከተካሁት በኋላ ፊልተሩ ራሱ ጎበዝ ነው፣ አምስት ኮከብ፣ አሸዋውን በአምስት ዓመት አንዴ መቀየር ነው እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። የግፊት መለኪያው ጌጅ ላይ ፕሬዠሩ ፊልተሩ ንጹህ ከነበረበት ግማሽ ባር ከፍ ሲል ባክዎሽ ታደርጋላችሁ፣ ማለትም ውሃውን በአሸዋው ውስጥ ወደ ኋላ አዙራችሁ ቆሻሻውን ወደ ውጭ ታጥባላችሁ፣ ሦስት ደቂቃ በቂ ነው፣ እሷም 500 ሊትር ትጠጣለች። ቫልቩን ፓምፑ እየሠራ እንዳታዞሩት ብቻ፣ ውስጡ ያለውን ጎማ ይበላዋል፣ ከልምድ ነው የምናገረው።

ፓምፑ አንድ የፈረስ ጉልበት ነው፣ በሰዓት 11 ሜትር ኩብ ገደማ ይገፋል፣ በ4 ሰዓት ገንዳውን አንዴ ያዞረዋል፣ እኔ በቀን 8 ሰዓት ነው የማስነሳው። ከመስመር የሚስበው 1.1 ኪሎዋት ስለሆነ በወር 260 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይበላል፣ ምጣድና ፍሪጅ ካለበት ቤት ላይ ይሄ ሲጨመር ነው ጉዱ፣ ምክንያቱም የመብራት ታሪፉ በእርከን ነው፣ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይጨምራል። የመጀመሪያው ወር ቢል ሲመጣ የጎረቤት ቆጣሪ የተነበበብን መስሎኝ ቢሮ ድረስ ሄጃለሁ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑን የሚያስነሳውና የሚያጠፋው ሰዓት ቆጣሪ አብሮ ይቆማል፣ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ስለዚህ ቀን ይሠራ ያልኩት ፓምፕ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እየጮኸ ያነቃኛል። አንድ ቀን ቮልቴጁ ወርዶ ሞተሩ መነሳት አቅቶት እያጉረመረመ ተቃጠለ። እዚህ ጋ ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ መሆኗ ጠቀመኝ፣ ከጨርቃ ጨርቁ ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ሞተሩን በሁለት ቀን ጠቅልለው መለሱልኝ፣ "አብሽር፣ እኛ ከዚህ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ሞተር ስንጠቀልል ነው የኖርነው" አሉኝ። ቮልቴጅ ሲወርድ የሚቆርጥ መከላከያ እንዳስገባም የመከሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ከመጀመሪያው ቢገባ ኖሮ ሞተሩም አይቃጠልም ነበር።

ክሎሪን። ይሄ ነው ሰው የማያውቀው ወጪ። እኔ የምጠቀመው ዱቄቱን ነው፣ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ይባላል፣ 65 ፐርሰንቱ። ለ45 ሺህ ሊትር በቀን 140 ግራም አካባቢ ይፈልጋል፣ በወር 4 ኪሎ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ነበር የምጨምረው፣ የኮምቦልቻ ፀሐይ ደግሞ በሁለት በሦስት ሰዓት አብዛኛውን ጠራርጎ ይበላዋል፣ ማታ ስለካው ዜሮ። አሁን ከመግሪብ በኋላ ነው የምጨምረው፣ ስታቢላይዘር የሚባለውንም ወደ 2 ኪሎ አንዴ አሟሟሁበት፣ ለክሎሪኑ እንደ ጥላ ነው፣ በጣም ረዳኝ። ቴስት ኪት ሳትገዙ ፑል አትንኩ፣ ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.6፣ ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም፣ በቃ ይሄን ከያዛችሁ ሌላው ዝርዝር ነው። ዱቄቱ ፒኤችን ወደ ላይ ስለሚገፋ በየጊዜው በትንሽ አሲድ ማውረድ አለ፣ እና አደራ፣ አሲድና ክሎሪን በአንድ ባልዲ እንዳይገናኙ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ ሁልጊዜ ደግሞ ኬሚካሉን ወደ ውሃ እንጂ ውሃውን ኬሚካሉ ላይ አታፍሱ። በርሜሉን እቃ ቤት ነበር የማስቀምጠው፣ በስድስት ወር ውስጥ እዚያ ያለው ብረት ሁሉ ዛገ፣ አካፋው፣ ሚስማሩ፣ የበሩ ቁልፍ ሳይቀር።

የፑል ሽታ ሲከብድ ደግሞ ሰው "ክሎሪን አበዛህ" ይለኛል፣ ተገላቢጦሽ ነው። ያ ሽታና ዓይን የሚያቃጥለው ነገር የሚመጣው ክሎሪኑ ከላብና ይቅርታ አርጉልኝ ከሽንት ጋር ሲገናኝ ነው፣ መድኃኒቱ ብዙ ክሎሪን መጨመር ነው። ለወንድሜ ልጆች ይሄን በሥርዓት አስረድቻለሁ፣ አንዱ ብቻ ፊቱ ቀላ።

ልጆቹ የሚመጡት መቼ መሰላችሁ? ሐምሌና ነሐሴ! የሪያድ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነው። ግንቦትና ሰኔ ኮምቦልቻ ስትነድ፣ ውሃው 26 ዲግሪ ደርሶ እንደ መስታወት ሲያበራ፣ ግቢው ውስጥ እኔና አንድ ውሻ ብቻ ነን። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ክሎሪኑን ያቀጥነዋል፣ ከላይ ያለው ተዳፋት ቀይ ጭቃ ይልክልናል፣ ቅጠሉ ስኪመሩን ይደፍነዋል፣ ልጆቹ ሻንጣ ሳያወርዱ ሮጠው ጓሮ ሲደርሱ የሚያዩት አረንጓዴ ኩሬ ነው። መጀመሪያው ዓመት ትልቋ "አጎቴ፣ እንቁራሪት የሚረባበት ነው?" አለችኝ። አራት ቀን ፈጀብኝ፣ ፒኤቹን 7.2 ማድረስ፣ ማታ ክሎሪኑን አንዴ 700 ግራም መስጠት፣ ግድግዳውን በብሩሽ መፈግፈግ፣ ፓምፑን ቀንና ሌሊት ማስነሳት፣ የሞተው አልጌ (ውሃውን አረንጓዴ ያደረገው) ሲዘቅጥ በቫኪዩም ወደ ውጭ መሳብ። ሲጠራ ልጆቹ እግራቸውን ነከሩና "ይበርዳል" ብለው ገብተው ስልክ ያዙ። በሁለተኛው ዓመት ከተዳፋቱ በኩል ቦይ አስቆፍሬ ጎርፉን ወደ መንገዱ መለስኩት፣ ከገዛሁት ኬሚካል ሁሉ የሚበልጠው እሱ ቦይ ነው።

አጥር የግድ ነው። የኛ መጀመሪያ አልነበረውም፣ ለአረፋ የገዛነው በግ ሌሊት ገመዱን በጥሶ ገባበት፣ ዋና የማይችል ሰው ዋና የማይችል በግ ሲያወጣ አስቡት፣ ያውም ጥልቀቱ ትንሽ በሆነው በኩል ሆኖልኝ እንጂ። በነጋታው ብየዳ ቤት ሄጄ በራሱ የሚዘጋ በር ያለው ፍርግርግ አሠራሁ። በጉ ላይ ስቀናል፣ ልጅ ቢሆን ኖሮ ማን ይስቅ ነበር።

ስለ ጎረቤት የጀመርኩትን ልጨርስ። አንዴ ፈረቃው ለሁለት ሳምንት ቀረ፣ እማማ የልጅ ልጃቸውን ልከው "ለሽንት ቤት የሚሆን አንድ ጀሪካን" አሉ። ሰጠሁት። ማታ ሰባት ጀሪካን፣ በሦስተኛው ቀን ሰልፍ። ለመጠጥና ለምግብ እንደማይሆን እየተናገርኩ ለልብስና ለሽንት ቤት አስቀዳሁ፣ የቀለም ልብስ ላይ ተጠንቀቁ ብዬም ነበር፣ ያልሰማም አለ። ውሃው ከስኪመሩ አፍ በታች ሲወርድ ፓምፑ አየር ስለሚስብ በዋናው ማውጫ ብቻ እንዲስብ ቫልቭ ቀየርኩ። ያኔ ወንድሜ ካሜራውን ከሪያድ ከፍቶ አይቶ ደወለ፣ "አንተ፣ ፑሉ ውስጥ ያሉት እነማን ናቸው?" "ደንበኞች" አልኩት። ከዚያ ወዲህ እማማ ስለ ሰርግ አንስተው አያውቁም፣ ቡና ሲፈላም ይጠሩኛል።

አሁን ወደ ደሴው ጓደኛዬ። ወንድሜ፣ ተው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች፣ መሀላቸው የሐረጎ ቁልቁለት ብቻ ይምሰል እንጂ ሌላ አገር ነው። እዚህ ታችም ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ቴርሞሜትሩ 17 ነው የሚለኝ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ያለው ግቢህ ውስጥ ምን እንደሚል አስበው። "አሞቀዋለሁ" አልከኝ አይደል? 45 ሺህ ሊትር ውሃ 10 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ በቀጥታ በኤሌክትሪክ ከሆነ 520 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፣ የኔ ፓምፕ በሁለት ወር የሚበላው ነው፣ ለዚያውም ሌሊቱን የደሴ ብርድ መልሶ ይወስድብሃል። ሂት ፓምፕ፣ ከአየሩ ሙቀት ስቦ ውሃውን የሚያሞቀው ማሽን፣ የዚህን ሩብ ወይ አምስተኛ ይበላል፣ ግን እሱን ገዝተህ የሚጠግንልህ ፈልግ። ለዋናው ከሆነ ሚኒባስ ተሳፍረህ ውረድ፣ ግንቦት ላይ ና፣ ፑሉ ባዶ ነው፣ ፎጣ ብቻ ያዝ። ገንዘቡን ጣሪያ ላይ ታንከር ግዛበት።

ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ በዚያ በኩል ሞቅ ያለ ቦታ ለምትኖሩ ደግሞ፣ ልጆቻችሁ እዚሁ ካሉ፣ የራሳችሁ የጉድጓድ ውሃ ካላችሁና በቀን አርባ ደቂቃ የሚሰጠው ሰው ካለ አይከፋም፣ ሦስት ተኩል ኮከብ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሁለት። እኔ አርባ ደቂቃውን የሚሰጠው ሰው ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ደውሎ ዘንድሮ ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ሸርተቴ እንጨምርበት ወይ አለኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው አልኩት።