ሰኔ ላይ ፓርላማ ወይስ ጥር ላይ ወረዳ?

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከጓደኛዬ ጋር ቡና ይዘን ተከራከርን። ለጤናና ለትምህርት በጀት የሚሟገት ድርጅት የት ይጩህ?

እሱ አዲስ አበባ ይላል። የበጀት ረቂቁ ፓርላማ ሲገባ ካሜራ አለ፣ ሰሚ አለ። ግን በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ ላይ ቁጥሩ ያለቀለት ነው። ለክልሎች የሚሄደው ድጎማም በጥቅል ነው፤ ስንቱ ለጤና ጣቢያ እንደሚውል የሚወስኑት ክልልና ወረዳ ናቸው።

እኔ ወረዳ እላለሁ። የመምህሩና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደመወዝ የሚከፈለው እዚያ ነው። ከደመወዝ በኋላ ለመድኃኒትና ለጠመኔ የምትተርፈው ግን ትንሽ ናት። ሙግቱ በዚህች ትንሽ ላይ ነው። አሰልቺ ነው፤ ፎቶም የለውም። የወረዳው ኃላፊ «የበጀት ጣሪያው ከላይ ነው የመጣው» ካለ ደግሞ አለቀ። እዚህ ላይ ጓደኛዬ ልክ ነው።

ድሮማ ምርጫውም አልነበረም። በ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ መሟገት አይችልም ነበር። የ2011ዱ አዋጅ ነው ያንን ያነሳው።

አንድ ሰው ብቻ መቅጠር ብችል ጥር ላይ፣ ቁጥሩ ሳያልቅለት፣ ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ነበር የማቆመው። ሁለተኛ ከተገኘ ሰኔ ላይ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ይሳፈር።