የ350 ሸቭሮሌ ሞተር ሲታደስ የትኛውን ዕቃ እንግዛ?

ባለፈው ኅዳር አንድ ጓደኛዬ ማታ ደወለልኝ። የ1972 ሸቭሮሌ ኖቫ ገዝቶ ጋራዡ ውስጥ ካቆመ ሦስት ወሩ ነው። ሞተሩን አውርዶ ማቆሚያው ላይ ሰቅሎታል። "ዕቃ ላዝዝ ነው፤ እስቲ ዝርዝሩን እየው" ብሎ ላከልኝ። ፎርጅድ ፒስተን፣ ሮለር ካምሻፍት፣ የአልሙኒየም ቴስታታ፣ ባለ 750 ካርብሬተር፣ ብዙ ዘይት የሚገፋ ፓምፕ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጥሩ ዕቃ ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የሌላ መኪና ዕቃ ናቸው።

"የት ልትነዳው ነው?" አልኩት።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር። አንዳንዴ እሁድ ቤተ ክርስቲያን።"

ይህ መልስ የዝርዝሩን ግማሽ ቀየረው። ከዚህ በታች ያለው በዚያ ሌሊት በስልክ ያወራነው ነው። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ መካኒክ ስለነበር ሲሊንደር ሄዱን ቴስታታ፣ ክራንክሻፍቱን ኮሎ፣ የፒስተን ሪንጉን ፋሻ እያለ ነው ያሳደገኝ። እኔም እዚህ ሜሪላንድ ሆኜ እንደዚያው እላለሁ፤ እንደዚያው እጽፋለሁ።

ከመግዛት በፊት፦ ብሎኩ ምንድን ነው?

350 የሞተሩ ይዘት በኪዩቢክ ኢንች ነው፤ መጀመሪያ የመጣው ከ1967 ካማሮ ጋር ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 4 ኢንች፣ የፒስተኑ ጉዞ 3.48 ኢንች፤ በሊትር 5.7 ይሆናል። ለብዙ ዓመታት ስለተሠራ ዕቃው እንደ ልብ ይገኛል። ግን ሁሉም 350 አንድ አይደለም። እስከ 1985 ያለው የኮሎው የኋላ ኦይል ሲል ሁለት ቁራጭ ነው፤ ከ1986 ጀምሮ አንድ ቁራጭ ሆኗል። ይህን ሳያጣራ ኮሎ ያዘዘ ሰው ኮሎውን መልሶ ይልካል።

የብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ ዋና አካል) መለያ ቁጥር ከኋላው፣ በሹፌሩ በኩል፣ ከቴስታታው ጀርባ ባለው ጠርዝ ላይ በጉልህ ተቀርጿል። በጨርቅና በሽቦ ብሩሽ ጠረግ አድርጉት። የጓደኛዬ 3970010 ነበር፤ በ1970ዎቹ መኪኖች ላይ በብዛት የሚገኘው ማለት ነው። ይህ ብሎክ ኮሎውን በሚይዙት ክዳኖች ላይ ባለ ሁለት ቡሎንም ባለ አራት ቡሎንም ሆኖ ወጥቷል። ሰው ባለ አራት ቡሎን ፍለጋ ብዙ ብር ያወጣል። 350 የፈረስ ጉልበት ለሚያወጣ የመንገድ ሞተር ባለ ሁለቱ ይበቃል። ትርፉን ገንዘብ ለቶርኖ ቤቱ ያዙት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከተሳፋሪው በኩል ካለው ቴስታታ ፊት ለፊት፣ በብሎኩ የላይኛው ገጽ ላይ፣ ፋብሪካው የመታው ማኅተም አለ። ሞተሩ ከመኪናው ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን የሚመሰክረው እሱ ነው። ቶርኖ ቤቱ የብሎኩን ገጽ ሲልጥ ያ ማኅተም አብሮ ይጠፋል። ጠፍቶ ደግሞ አይመለስም። መኪናችሁ ኦሪጅናል ከሆነ አስቀድማችሁ ፎቶ አንሱት። ለሠራተኛውም "ይህን እንዳትነካ" ብላችሁ በቃልም በጽሑፍም ንገሩት።

ፒስተን፦ ካስት፣ ሃይፐርዩቴክቲክ ወይስ ፎርጅድ?

ካስት ርካሹ ነው። ፋብሪካው ለተራው 350 የተጠቀመው እሱን ነው፤ በጸጥታ ይሠራል። ነዳጁ ያለጊዜው ሲፈነዳና ሞተሩ ሲያንኳኳ ግን ይሰበራል።

ሃይፐርዩቴክቲክ የሚባለው ደግሞ በአልሙኒየሙ ውስጥ ከ16 እስከ 18 በመቶ የሚሆን ሲሊከን አለው። ስለዚህ ጠንካራ ነው፤ በሙቀት ብዙም አይሰፋም፤ ከሲሊንደሩ ጋር ተጠጋግቶ ይገጠማል። ጠዋት ሲነሳ አይንኳኳም፤ ዘይትም አይበላም። ለቅዳሜ መኪና የምመክረው ይህንን ነው። ጉዳቱ እንደ ሸክላ መሆኑ ነው፤ ከባድ ማንኳኳት ካገኘው ይሰነጠቃል። ሌላው፣ የላይኛው ፋሻ የሚሞቅባቸው ሞዴሎች ስላሉ የፋሻው ክፍተት ከተለመደው ሰፋ ይላል። ለ4 ኢንች ሲሊንደር የተለመደው 0.016 ኢንች ገደማ ነው፤ እናንተ ግን ከፒስተኑ ጋር የመጣውን ወረቀት ተከተሉ። ክፍተቱ ጠቦ ሁለቱ ጫፎች በሙቀት ከተገናኙ ፒስተኑ አናቱ ይገነጠላል።

ፎርጅድ ለናይትረስ፣ ለተርቦ፣ ለውድድር ነው። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። 2618 የሚባለው አልሙኒየም ጡጫ ይችላል፤ ግን ብዙ ስለሚሰፋ ላላ ተደርጎ ይገጠማል፤ እስኪሞቅ ድረስም ያንኳኳል። 4032 ሲሊከን ስላለው ጠበቅ ብሎ ይገጠማል። ጓደኛዬ "ፎርጅድ ይሻላል ብለውኝ" አለ። ይሻላል፤ ለማን? ልጆቹን ይዞ ለሚንሸራሸር ሰው ልዩነቱ በኪሱ እንጂ በመንገዱ ላይ አይታወቅም።

ካምሻፍት፦ ጠፍጣፋ ታፔት ወይስ ሮለር?

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ የመጀመሪያ ሞተሬን የገደልኩት እዚሁ ነው።

ካምሻፍት ወይም ካም ቫልቮቹን በጉብታዎቹ የሚከፍተው ዘንግ ነው፤ ታፔት ደግሞ ጉብታው ላይ ተቀምጦ ግፊያውን የሚያስተላልፈው። እኔ ጠፍጣፋ ታፔት ያለው ካም ገዝቼ ነበር። ርካሽ ነው፤ ከአሮጌው ብሎክ ጋርም ምንም ሳይቀየር ይገጥማል። ሞተሩን ማስነሳት የጀመርኩት ካርብሬተሩን በደንብ ሳላስተካክል ነው። ይነሳል፣ ይጠፋል፤ ይነሳል፣ ይጠፋል። እንዲህ እያልኩ አንድ ከሰዓት ሙሉ ባትሪ ጨረስኩ። ዘይቱም ከሱፐርማርኬት ያነሳሁት ተራ ዘይት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። ስከፍተው የአንዱ ቫልቭ የካም ጉብታ ተበልቶ ክብ ሆኗል። ታፔቱን ስገለብጠው ሥሩ እንደ ሲኒ ጎድጉዷል። ከዚያ የተላጠው ብረት በዘይቱ ዞሮ ኮሎው የሚሽከረከርባቸውን ብሮንዞች በሙሉ ጭሯቸዋል። ገና አዲስ የነበረ ሞተር እንደገና ወረደ።

ለምን እንደሆነ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። የጠፍጣፋ ታፔት ሥር ጠፍጣፋ ይባል እንጂ በጥቂቱ ያበጠ ነው፤ የካሙም ጉብታ በጥቂቱ ያዘነበለ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ታፔቱ በቦታው ይሽከረከራል። ካልተሽከረከረ ያልቃል። እነሱን የሚያጠጣው ዘይት በብዛት ከኮሎው ተረጭቶ የሚመጣ ነው። ለዚህ ነው አዲስ ካም እንደተነሳ በደቂቃ በ2,000 ዙርና ከዚያ በላይ፣ ሳይቋረጥ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መሥራት ያለበት። ሌላው ዚንክና ፎስፈረስ የያዘው የዘይት ቅመም ነው። በ2004 የወጣው ኤፒአይ ኤስኤም የተባለው መመዘኛ ካታሊቲክ ኮንቨርተርን እንዳይጎዳ ብሎ በቀጫጭን ዘይቶች ውስጥ ፎስፈረሱ ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ። ለአዲስ መኪና ጥሩ ነው። ለጠፍጣፋ ታፔት ግን አይበቃም። ለማላመጃ የተሠራ ዘይት ለብቻው ይሸጣል፤ እሱን ግዙ።

ሮለር ታፔት ከታች ትንሽ መሽከርከሪያ አለው። የማላመድ ጣጣ የለበትም፤ የዘይት ምርጫውም አያስጨንቅም። ፋብሪካው ራሱ በ1987 ወደ ሮለር ዞሯል። በአሮጌ ብሎክ ላይ ለማስገባት ግን ሁለት ሁለት ሆነው በብረት የተያያዙ ታፔቶች፣ አጠር ያሉ ፑሽሮዶች (የታፔቱን ግፊያ ወደ ላይ የሚያደርሱ ዘንጎች)፣ ካሙ ወደፊት እንዳይሄድ የሚያግድ ቁልፍና የሚመጥኑ ስፕሪንጎች ያስፈልጋሉ። የዲስትሪቢውተሩ ጥርስም ከካሙ ብረት ጋር መስማማት አለበት፤ ካልተስማማ ጥርሱ ይበላል። ሁሉም ሲደመር ከጠፍጣፋው ብዙ እጥፍ ያወጣል።

ታዲያ የትኛውን? ገንዘቡ ካለ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ሌላ ነገር ሰርዛችሁ ሮለሩን ግዙ እላለሁ። ጓደኛዬም ፎርጅዱን ፒስተን ሰርዞ ሮለሩን ያዘ። ከሌለ ጠፍጣፋውም ብዙ ዓመት ያገለግላል። ታፔቱን ከታመነ አምራች ግዙ፤ ያገለገለ ጠፍጣፋ ታፔት ደግሞ በአዲስ ካም ላይ በፍጹም አታስገቡ። ካርብሬተሩና ማቀጣጠያው በመጀመሪያው ንክኪ እንዲነሳ ተደርጎ ይዘጋጅ።

ስለ ካሙ መጠንም አንድ ቃል። በታፔቱ 0.050 ኢንች ከፍታ ላይ ሲለካ ቫልቩን ለ210 እስከ 220 የኮሎ ዲግሪ ከፍቶ የሚያቆየው ለኦቶማቲክ ካምቢዮና ለከተማ ይስማማል። 230ን ሲያልፍ ድምፁ ያምራል፤ ግን ቫኪዩሙ ይወርዳል። በቫኪዩም የሚታገዝ ፍሬን ያለው ሰው መብራት ላይ እግሩ ሥር ይሰማዋል።

ቴስታታ፦ የራሱ፣ ቮርቴክ ወይስ አልሙኒየም?

ጂኤም ለቤንዚን ያለ እርሳስ ሲል ከ1971 ጀምሮ የሞተሮቹን ግፊት፣ ማለትም ፒስተኑ አየርና ነዳጁን ስንት እጥፍ እንደሚጨምቅ፣ ቀንሷል። ካማሮ ዚ28 ላይ የነበረው ኤልቲ-1 በ1970 11 ለ1 ነበር፣ 360 የፈረስ ጉልበት፤ በ1971 ወደ 9 ለ1 ወርዶ 330 ሆነ። የጓደኛዬ ቴስታታዎችም የዚያ ዘመን ናቸው፤ የማቃጠያ ክፍላቸው 76 ሲሲ ነው። ወደ 64 ሲሲ ሲኬድ ግፊቱ አንድ ነጥብ ያህል ይጨምራል። ይህን ልዩነት እግራችሁ ያውቀዋል።

ርካሹ መንገድ ከ1996 እስከ 2000 በጂኤም ፒካፖች ላይ የነበረው ቮርቴክ የተባለው የብረት ቴስታታ ነው። ቁጥሩ በ906 ወይም በ062 ያልቃል። 64 ሲሲ ነው፤ አየር አሳላፊነቱም ከአሮጌዎቹ እጅግ ይበልጣል። ሰው ከቁራሌው ግቢ በትንሽ ብር አገኘሁ ብሎ ደስ ይለዋል። ከዚያ ወጪው ይጀምራል። የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ በስምንት ቡሎን የሚታሰር የራሱ ዓይነት ነው፤ የድሮው በ12 ነበር። የቫልቭ ክዳኑ የሚታሰረው በመሃሉ ነው። ቫልቮቹን የሚጫኑት ክንዶች፣ ሮከሮቹ፣ ራሳቸውን የሚያስተካክሉ ዓይነት ናቸው። የፋብሪካው ስፕሪንግ ከፍ ያለ ካም አይችልም። በቫልቮቹ መካከልም መሰንጠቅ ልማዱ ስለሆነ ሳያስመረምሩ መክፈል አይገባም።

አልሙኒየሙ በክብደት የብረቱን ግማሽ ያህል ነው፤ እጃችሁ ላይ ስታነሱት ትገረማላችሁ። ሙቀት ቶሎ ስለሚያስወጣ በተራ ቤንዚን 10 ለ1 ያህል ይችላል፤ በብረት 9.5 አካባቢ መቆም ይሻላል። ስፕሪንጉ፣ ቫልቩ፣ የቫልቭ መቀመጫው ሁሉ አዲስ ሆኖ ይመጣል። የቮርቴኩን የጥገናና የተጓዳኝ ዕቃ ወጪ ስትደምሩ ልዩነቱ እንደታሰበው ሰፊ አይሆንም። ቮርቴክ ንጹሑን ላገኘና ማኒፎልዱ ላለው ሰው እንጂ ከዜሮ ለሚጀምር አልመክርም።

የራሱን ቴስታታ ማቆየት ደግሞ ለኦሪጅናል መኪና ተገቢ ነው። ቫልቮቹ ሲሠሩ ጠንካራ የጭስ ቫልቭ መቀመጫ ይግባለት። አሜሪካ ከ1996 ጀምሮ እርሳስ ያለው ቤንዚን ለመንገድ መኪና ከልክላለች፤ የድሮዎቹን መቀመጫዎች ያለሰልስ የነበረው ያ እርሳስ ነው።

የቀሩት

ኮሎው ካልተሰነጠቀ የራሱ ካስት ኮሎ ተፈትሾ፣ ካስፈለገም 0.010 ኢንች ተልጦ ይሠራል። ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ክንድ፣ ቢየላውም፣ እንዲሁ። የቢየላው ቡሎን ግን አሮጌው ተጥሎ ጠንካራ አዲስ ይግባ። ሞተር ውስጥ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ጥፋት የሚከለክል ዕቃ እሱ ነው። የፋብሪካው የታይሚንግ ጥርስ ናይለን ከሆነ ይጣል፤ ባለ ሁለት ረድፍ ሰንሰለት ይግባ።

የዘይት ፓምፕ ተራው ይበቃል። የብሮንዙ ክፍተት ልክ ከሆነ ትልቁ ፓምፕ ዲስትሪቢውተሩን ከማድከም ሌላ ጥቅም የለውም።

ካርብሬተር ደግሞ በሒሳብ ነው። 0.030 ኢንች የሰፋ 350፣ 355 ይሆናል። 355ን በ5,500 ዙር አባዙት፣ ለ3,456 አካፍሉት፤ 565 ይመጣል፤ ሞተሩ በደቂቃ የሚስበው አየር በኪዩቢክ ጫማ ማለት ነው፤ ካርብሬተሮቹም ባለ 600፣ ባለ 750 የሚባሉት በዚሁ መለኪያ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ስለማይሞላ 85 በመቶውን ስትወስዱ 480 ነው። ባለ 600 ይተርፋል። ባለ 750 ከመብራት ሲነሱ ያስላችኋል እንጂ አያስሮጣችሁም።

ፒስተንና ፋሻ አስቀድማችሁ አትዘዙ። መጀመሪያ ቶርኖ ቤቱ ሲሊንደሮቹን ይለካ። 0.030 ይበቃል ወይስ 0.040 ይፈልጋል የሚለውን እሱ ይንገራችሁ። ፒስተኑ ሲመጣ ወስዳችሁ ስጡት፤ እያንዳንዱን ሲሊንደር በፒስተኑ ልክ ይጨርሰዋል። ጓደኛዬ ይህን ሰምቶ ትዕዛዙን ለአምስት ሳምንት አቆየው። ለካስ አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ተበልቶ ኖሮ 0.040 ሆነ።

ሞተሩ በመጋቢት ተገጠመ። የዚህ ሞተር የቴስታታ ቡሎኖች በየጎኑ 17 ናቸው፤ ወደ ውሃው ስለሚዘልቁ ጥርሳቸው ላይ ማሸጊያ ቀባን። ዲስትሪቢውተሩን ከማስገባታችን በፊት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ዘይቱ በየቦታው እንዲደርስ፣ የዘይት ፓምፑን ማዞሪያ ዘንግ በድሪል አዞርነው። መጀመሪያ ድሪሉ በባዶው ዞረ። ከዚያ ከበደው፤ ጌጁም ተነሳ። ትልቁ ልጁ በባትሪ መብራት ሮከሮቹን እያየ ይቆጥራል። "አስራ አራት... አስራ አምስት..." ኮሎውን በእጅ ጥቂት አዞርነው፤ ድሪሉን እንደገና ያዝኩት። አስራ ስድስተኛው ሮከር ላይ ዘይቱ ብቅ አለ።