የፊት ቅባት ስትገዙ የመጀመሪያው ብር የት ይዋል? ለአዳማ ፀሐይና ነፋስ የሚሆን ንጽጽር

አጎቴ ጂቡቲ መስመር ላይ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ተሳቢ ነድቷል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት በረንዳ ላይ ቡና ስንጠጣ ፊት ለፊቱ እቀመጥና ሁለት ሰው የማይ ይመስለኛል። ቀኝ ጉንጩ እንደ ዕድሜው ነው። ግራው ግን ከዐይኑ ጥግ ጀምሮ እስከ አገጩ እንደታረሰ መሬት ተሸንትሯል፤ ቆዳው ወፍሯል፣ ጠቁሯልም። መሪው በግራ፣ መስኮቱም በግራ። መስታወቱ ተዘግቶ እንኳ ፀሐይዋ ሥራዋን አላቋረጠችም።

የእሱ ብቻ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» የተባለው የሕክምና መጽሔት 28 ዓመት የጭነት መኪና የነዳ የ69 ዓመት ሰው ፎቶ አውጥቶ ነበር፤ የግራው ፊት የቀኙ አባት ይመስላል። ፀሐይ በዐይን የማይታይ ዩቪ (አልትራቫዮሌት) የሚባል ጨረር አላት። መስታወት ከዚህ ውስጥ ቆዳ የሚያቃጥለውን ዩቪቢ በአብዛኛው ያስቀራል፤ ዩቪኤን ግን ያሳልፋል። ቆዳችንን ወጥሮ የያዘውን ኮላጅን ቀስ እያለ የሚበጣጥሰው ደግሞ እሱ ነው።

ስለዚህ ሰው «ፊቴ ቶሎ እንዳያረጅ ምን ልግዛ?» ሲለኝ ስለ ሴረም (በትንሽ ጠርሙስ ስለሚሸጠው የፊት ፈሳሽ) አላወራም። የመጀመሪያው ብር ለሰንስክሪን፣ ማለትም ለፀሐይ መከላከያ ቅባት ይዋል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የዩቪ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ የዩቪ መለኪያው ብዙ ጊዜ 11ን ያልፋል፤ የመጨረሻው አደገኛ ደረጃ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ነፋሱን ገና አልጨመርኩም። ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ ያሉትን ተርባይኖች የሚያሽከረክረው ነፋስ ባጃጅ ውስጥ በግራ ገብቶ በቀኝ ሲወጣ የእኛንም ፊት አድርቆ፣ አቧራ አልብሶ ነው የሚሄደው።

«እኛ ጠይም ነን፣ ፀሐይ ምን ታደርገናለች?» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። በጣም ጥቁር ቆዳ በተፈጥሮው ያለው መከላከያ ከኤስፒኤፍ (ሰንስክሪን ላይ የሚጻፈው የመከላከያ ቁጥር) 13 ገደማ ጋር የሚስተካከል ሆኖ ተለክቷል። መጨማደዱ ይዘገይልናል። እኛን ቀድሞ የሚያስረጀን ግን መጨማደድ አይደለም፤ ማድያት፣ ጥቋቁር ነጠብጣብና የተዥጎረጎረ መልክ ነው። እሱ ደግሞ ፀሐይ ባየ ቁጥር ይብሳል።

ሰንስክሪን፦ ነጭ የሚተወው ወይስ የማይታየው?

ገበያ ላይ ያለው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሚኒራል የሚባለው ነው፤ ማሸጊያው ላይ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ይላል። ቶሎ ለሚቆጣ ቆዳ ይስማማል፣ ዐይን አያቃጥልም፣ እርጉዝ ሴትም ያለ ሐሳብ ትቀባዋለች። ችግሩ ጠይም ፊት ላይ ወፍጮ ቤት ውሎ የመጣ ሰው ማስመሰሉ ነው። እኔ አንዴ ተቀብቼው ሠርግ ሄጄ ነበር፤ ፎቶው ላይ ፊቴና አንገቴ የሁለት ሰው ነበሩ። ሁለተኛው ኬሚካል የሚባለው ነው፤ ቆዳ ላይ ጠፍቶ ይቀራል፣ ከሜካፕ ጋርም ይስማማል። ነገር ግን በአዳማ ሙቀት ላብ ይዞት ዐይን ውስጥ ሲገባ ያስለቅሳል። ዐይናችሁ አካባቢ ሚኒራሉን፣ ለቀረው ፊት ኬሚካሉን ብትቀቡ የሚከለክላችሁ የለም፤ እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ማድያት ላለበት ሰው ግን ሦስተኛ ምርጫ አለ፤ ከሁለቱም እሱን አስቀድማለሁ። ቀለም ያለው፣ አይረን ኦክሳይድ (ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ውህድ) የገባበት ሰንስክሪን ነው። ማድያትን የሚያባብሰው ዩቪ ብቻ ሳይሆን በዐይን የምናየው ብርሃንም ጭምር ስለሆነ፣ ተራው ሰንስክሪን የማያስቆመውን ይሄኛው ያስቆመዋል። ከመልካችሁ ጋር የሚሄደውን ለማግኘት ግን ትንሽ መዞር ያስፈልጋል፤ አብዛኛው የተሠራው ለነጭ ቆዳ ነው። እጃችሁ ላይ ሳይሆን አገጫችሁ ሥር አድርጉና ደጅ ወጥታችሁ በመስተዋት እዩት፤ የሱቅ መብራት ያታልላል።

ቁጥሩን በተመለከተ ኤስፒኤፍ 30 ከዩቪቢ 97 በመቶ ያህሉን ያስቀራል፣ 50 ደግሞ 98 በመቶ። ልዩነቱ ይቺ ናት። ሆኖም አብዛኞቻችን አሳንሰን ስለምንቀባ የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ 50ውን ውሰዱ፤ 100 የሚለውን ተዉት። ከቁጥሩ ይልቅ ማየት ያለባችሁ ዩቪኤን የሚከላከል መሆኑን ነው። የእስያ ዕቃ ከሆነ ፒኤ (PA) ከሚለው ቀጥሎ ያሉትን የመደመር ምልክቶች ቁጠሩ፤ በበዙ ቁጥር ይሻላል። የአውሮፓ ከሆነ በክብ ውስጥ የተጻፈ የዩቪኤ ምልክት ይኖረዋል። ሁለቱም ከሌሉ ሌላ ፈልጉ።

መጠኑ በሁለት ጣት ልክ ነው፦ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ላይ ከሥር እስከ ጫፍ ተደርጎ ለፊትና ለአንገት። ያ ወደ አንድ ሚሊ ሊትር ይጠጋል። ስለዚህ 50 ሚሊ ሊትር ቱቦ በቀን አንዴ ለሚቀባ ሰው 50 ቀን ነው የሚያዘልቀው። ዋጋ ስታወዳድሩ ብሩን በሚሊ ሊትሩ አካፍሉት፤ ርካሽ የመሰላችሁ 30 ሚሊ ሊትር ብዙ ጊዜ ውድ ሆኖ ይገኛል። ደጅ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ መድገም አለበት ይላሉ ሐኪሞች። እውነቱን ለመናገር ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ይህን ያደርጋል ብዬ አልጠብቅም። ጠዋት ከቤት ሲወጣና ከምሳ በፊት ከተቀባ ግን ከምንም ይሻላል።

ጃንጥላስ? እናቶቻችን ገበያ ሲወጡ የሚዘረጉት ጥቁር ጃንጥላ ጥሩ መከላከያ ነው፤ ከመሬትና ከግድግዳ የሚመለሰውን ጨረር ግን አያስቆምም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሁለቱንም ያዙ። የክሬም ገንዘብ የሌለው ሰው ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ ይግዛ፤ ብዙ ይጠብቁታል።

ለአጎቴ አንድ ቱቦ ገዝቼለት ነበር። «እኔ ሙሽራ ነኝ እንዴ?» ብሎ ከሳቀ በኋላ የልጁ መኪና ውስጥ ዳሽቦርድ ላይ አስቀመጠው። በሳምንቱ ስከፍተው ዘይቱ ለብቻ፣ ውሃው ለብቻ ሆኖ ወጣ። በሚሞቅ መኪና ውስጥ የዋለ ሰንስክሪን ሊበላሽ ይችላል፤ በቦርሳ ያዙት።

ማለስለሻ፦ ቫዝሊን፣ ግሊሰሪን ወይስ ሎሽን?

እዚህ ላይ ገንዘብ አታብዙ። ቫዝሊን እርጥበት አይጨምርም፣ ያለውን ግን ከማንም በላይ ቆልፎ ይይዛል፤ ስለዚህ ታጥባችሁ ፊታችሁ ሳይደርቅ ነው የሚቀባው። ቀን ቀን ግን የአዳማን አቧራ እንደ ሙጫ ይሰበስባል። ለማታ ነው። ግሊሰሪን ውሃ ይስባል፤ ደረቅ ነፋስ ባለበት ለብቻው ሲቀባ ይጣበቃል፣ ራሱም ቆዳውን መልሶ ሊያደርቅ ይችላል። በውሃ አቅጥኑት፤ ወይም ከላዩ ሌላ ነገር ቀቡበት። ለቀን የሚመቸው ግሊሰሪን ወይም ሴራማይድ (ቆዳ ውስጥም ያለ የስብ ዓይነት) ያለበት ተራ ሎሽን ነው፣ ሽታው ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ፊቱ ወዛም የሆነ ሰው ጄሉን ይምረጥ። እንደውም ብዙው ሰንስክሪን ማለስለሻም ስለሆነ ወዛም ፊት ያለው ሰው ጠዋት ሎሽኑን ሊዘለው ይችላል።

ቅቤን ለፀጉር ተዉት። ፊት ላይ ቀዳዳ ይደፍናል፣ ብጉር ለሚወጣበት ሰው በተለይ።

መታጠቢያውን ባጭሩ፦ ተራ የገላ ሳሙና ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) ከ9 እስከ 10 ነው፣ የፊት ቆዳ ደግሞ 5 አካባቢ። ከታጠባችሁ በኋላ ፊታችሁ ከተወጠረ ሳሙናው አልተስማማችሁም ማለት ነው። ጠዋት በውሃ ብቻ፣ ማታ አቧራውንና ሰንስክሪኑን በሚያስለቅቅ ለስላሳ የፊት ማጠቢያ ይበቃል።

ለማታና ለጠዋት፦ ሬቲኖል፣ ቫይታሚን ሲ ወይስ ናያሲናማይድ?

ቲክቶክ ላይ አስር ጠርሙስ ደርድረው ያሳዩዋችኋል። ከሰንስክሪን ቀጥሎ ስለ መጨማደድ ጠንካራ ማስረጃ ያለው የቫይታሚን ኤ ወገን ነው። ከእነዚህ ውስጥ ትሬቲኖይን ብርቱ ነው፣ በሐኪም ማዘዣ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ሬቲኖል ደከም ይላል፤ ቆዳ ውስጥ ገብቶ መለወጥ ስላለበት ውጤቱም ቁጣውም ይዘገያል። አዳፓሊን ለብጉር የተሠራ ቢሆንም ብጉርና ዕድሜ አንድ ላይ ለመጡበት ሰው እኔ እሱን ነው የምመክረው። የትኛውም ቢሆን የአተር ፍሬ የሚያክል ለመላው ፊት፣ መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ። መላጥና መቅላት ይኖራል። ለውጥ ለማየት ቢያንስ ሦስት ወር ጠብቁ። ጠይም ቆዳ ሲቆጣ ጥቁር ጠባሳ ትቶ ስለሚሄድ መቸኮል እኛን ይጎዳናል። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አንዳቸውንም አትንካ።

ቫይታሚን ሲ ጠዋት ከሰንስክሪን ሥር ሲሆን ጥሩ ነው፤ ከ10 እስከ 20 በመቶ ያለበትን ፈልጉ። ግን በጣም ስስ ዕቃ ነው፤ ሙቀትና ብርሃን ያበላሸዋል። ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጠርሙስ አትግዙ። ፈሳሹ የሻይ መልክ ከያዘ ሞቷል። በእኛ ሙቀት ላይ ለዚህ ነገር ብዙ ብር ማውጣት አይታየኝም። ናያሲናማይድ (የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት) ግን ሙቀት ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ዋጋው ይቀላል፣ ወዝና ነጠብጣብ ላይ ይሠራል፣ እርጉዝም ትጠቀመዋለች። 5 በመቶ ይበቃል፤ 10 የሚለው የተሻለ መስሎ ይሸጣል እንጂ አንዳንዱን ፊት ያሳክካል።

የቤቱስ? እሬት ለተቃጠለ ቆዳ ያቀዘቅዛል። ማርና እርድ በሳምንት አንዴ ለደስታ ይሁን። ሎሚ ግን ፊት ላይ አይድረስ፤ አሲድነቱ ሳያንስ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቃጥላልና ለወራት የማይለቅ ጥቁረት ይተዋል።

«ቶሎ የሚያፈካው»

ለእህቴ ልጅ ሠርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረን ከአንድ ኮስሞቲክስ ቤት ክዳኑ ላይ ስም የሌለው ትንሽ ነጭ ዕቃ ገዛሁ። ሻጯ «እቴ፣ በሳምንት ታመሰግኚኛለሽ» አለችኝ። አመሰገንኳት፤ ፊቴ እንደ ሕፃን ሆነ። በሁለተኛው ወር ሳቆመው አገጬና ጉንጬ በብጉር ተሞላ፣ ቆዳዬ ከመሳሳቱ የተነሳ ቀያይ የደም ሥር ታየበት፣ ምድጃ አጠገብ ስቀመጥ ያቃጥለኝ ነበር። ሐኪሙ ዕቃውን አገላብጦ አይቶ «ስቴሮይድ ነው» አለኝ። ለመመለስ ስምንት ወር ፈጀብኝ።

እንዲህ ያለ ክሬም ላይ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚል ካያችሁ መልሱት፤ ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው፤ ለተወሰነ በሽታ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት እንጂ የውበት ዕቃ አይደለም። ቆዳ የሚያነጣው ሃይድሮኪኖንም ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ፊትን ወደማይለቅ ሰማያዊ ጥቁረት ሊወስድ ይችላል። ሜርኩሪ ወይም ካሎሜል (የሜርኩሪ ውህድ) የሚል ደግሞ ኩላሊት ድረስ የሚሄድ መርዝ ነው። ምንም ያልተጻፈበት ከሁሉም የከፋ ነው፤ በማንኪያ ተቀላቅሎ የሚሸጠው ማለቴ ነው።

ከየት ይገዛ?

ፋርማሲ ትንሽ ይወደዳል፣ ምርጫውም ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ዕቃው ጥላ ውስጥ ይቀመጣል፣ የምትጠይቁትም ባለሙያ አለ። ሰንስክሪንና የቫይታሚን ኤ ክሬም ከዚያ ግዙ። ሎሽን፣ ቫዝሊንና ሳሙና ከየትም ቢሆን ግድ የለም። ቴሌግራም ላይ ከዱባይ በሻንጣ መጣ የሚባለው አንዳንዴ እውነተኛ ነው፤ የሚረክሰው ግን ብዙ ጊዜ ቀኑ ሊያልፍ ስለተቃረበ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ማሸጊያው ላይ ያለውን የምርት ቁጥርና የማብቂያ ቀን በፎቶ አስልኩ። «ቆይ እልካለሁ» ብሎ የጠፋ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ክፍት ጣሳ የሚመስል ሥዕል ካለበት፣ ውስጡ ያለው 6 ወይም 12 ቁጥር ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበት ወር ነው። እኔ የከፈትኩበትን ቀን በማርከር ቱቦው ላይ እጽፋለሁ። አሁን የያዝኩት የ50 ሚሊ ሊትር ሰንስክሪን «ጥቅምት 5» ይላል። ኅዳር 25 ደርሶ ካላለቀ አሳንሼ ስቀባ ነበር ማለት ነው።