ጎት፣ ውድስቶክ ወይስ ካርቦን ድራገን? አዲስ አበባ ላይ ግላይደር ለመሥራት ላሰበ

ግላይደር (ሞተር የሌለው አውሮፕላን) በገዛ እጁ ሊሠራ የተነሳ ሰው እንደ ጎት፣ ውድስቶክና ካርቦን ድራገን ካሉት ፕላን (የአሠራር ንድፍ) ሲያማርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ያህል ርቀት ይንሳፈፋል?» ብሎ ነው። ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ጠባብ ግቢ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ግን መጋጠሚያው ይቀድማል ባይ ነኝ። ክፍሎቹ የሚያያዙት በብሎን ነው በኮላ?

ውድስቶክ አሜሪካዊው ጂም ሞፒን በ1970ዎቹ የነደፈው የእንጨት ግላይደር ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሜትር ገደማ ነው፤ ባዶውን 107 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሜትር ሲወርድ 24 ሜትር ወደፊት ይሄዳል። ቆንጆ ነው፤ ጣጣው እንጨቱ ላይ ነው። ክንፉን የሚሸከመው እንጨት አንጓ የሌለበት፣ ቃጫው ቀጥ ያለ፣ ቀላልና ጠንካራ መሆን አለበት። የእኛ ባህር ዛፍ ይከብዳል፣ ይጣመማልም። የቁም ሳጥን ኮምፔርሳቶም እዚህ አይገባም።

ከዚያ ኮላው አለ። አንዴ ከተጣበቀ ውስጡን ገልጦ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ከዚያው ኮላና እንጨት የሙከራ ቁራጭ አጣብቃችሁ ትሰብራላችሁ። እንጨቱ ራሱ ከተሰነጠቀ ኮላው ይዟል። እንጨቱ ሳይሰበር መጋጠሚያው ላይ ከተላቀቀ ግን ያን ቀን የተጣበቀው ሁሉ ይጠረጠራል።

ካርቦን ድራገን የዚያው የሞፒን ሥራ ነው፤ ዘመኑ 1980ዎቹ መጨረሻ። ክንፉ 13.4 ሜትር፣ ክብደቱ 66 ኪሎ ብቻ! መንሳፈፉም ከውድስቶክ አያንስም። እውነቱን ለመናገር ዓይኔ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ነገር ግን ይህን ያህል የቀለለው በካርቦን ፋይበር (ቀላልና ጠንካራ የካርቦን ክር) እና በጥንቃቄ በተቆጠበ ክብደት ነው። የጀማሪን ስህተት የሚችል ትርፍ ጥንካሬ የለውም።

ማይክ ሳንድሊን የነደፈው ጎት በርቀት ከሁለቱም ያንሳል፤ መቀመጫውም ያልተሸፈነ፣ ነፋስ ላይ ነው። ግን ፕላኑ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፤ አካሉ የአሉሚኒየም ቱቦና ብሎን ነው። የተጠራጠራችሁትን ብሎን ፈትታችሁ ቀዳዳውን ታያላችሁ። የተጣመመ ቱቦ ካለ እሱን ብቻ ትቀይራላችሁ። እኔን ብትጠይቁኝ የመጀመሪያ ግላይደር ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። መርካቶ የሚሸጠው የመስኮትና የበር አሉሚኒየም አብዛኛውን ጊዜ 6063 የሚባለው ለስላሳ ዓይነት ነው። ጎት የሚፈልገው 6061-ቲ6 የሚባለውን የአሉሚኒየም ዓይነት ነው፤ ጥንካሬው እጥፍ ያህል ይበልጣል። ሁለቱ በዓይን አይለዩም። ስለዚህ ቱቦው ማስረጃው ተያይዞ ከውጭ ይምጣ፤ በጀታችሁ ላይ ማጓጓዣና ቀረጥ ጨምሩ።

የከፍታውም ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ ከአምስት አንድ በላይ ሳስቷል። ክንፍ ያንኑ ክብደት ለማንሳት ከ12 እስከ 16 በመቶ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለ ቀላል ግላይደሮች «በእግር እየሮጡ መነሳት ይቻላል» ሲባል ብትሰሙ ይህን ከፍታ አስቡ። እንጦጦ ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው።

ከ70 ኪሎ በታች የሆነ ግላይደር ያለ ምዝገባ ይበራል የሚለውም የአሜሪካ ሕግ ነው፤ እዚህ አይሠራም። ቦሌ አፍንጫችን ሥር እያለ ከተማው ላይ መብረር የማይታሰብ ነው። ቱቦ ከማዘዛችሁ በፊት ፕላኑን ይዛችሁ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሂዱ፤ የትና በምን ሁኔታ እንደሚፈቀድ በጽሑፍ ጠይቁ።