ማርጋሬት አትውድ፦ ዲስቶፒያውን በግጥሙ በኩል

«ፓወር ፖለቲክስ» የተሰኘው የ1971 የግጥም መድበል መግቢያ ላይ 4 መስመርና 16 ቃላት ብቻ ያሏት ግጥም አለች። ተናጋሪዋ ወዳጇን እንደ ልብስ ማያያዣ ገጥመኸኛል ትለዋለች። በእንግሊዝኛ የማያያዣዋ ቆልማማ ሽቦ «ሁክ»፣ የሚገባበት ቀለበት ደግሞ «አይ»፣ ማለትም ዓይን ይባላል። ቀጥለው በሚመጡት 2 መስመሮች ያው ሁክ የዓሣ መንጠቆ፣ ያው አይ የተገለጠ ዓይን ይሆናል። ሰሙ ልብስ፣ ወርቁ ሥቃይ። በቅኔ ጆሮው የተቃኘ አንባቢ የተደረገውን ወዲያው ያያል፤ አንድ ኅብረ ቃል ሳይለወጥ መሬቱ ከሥሩ ተሸራተተ።

አትውድ በልቦለዶቿም የምታደርገው ይህንኑ ነው። ስሟን ዓለም ያወቀው በዲስቶፒያዋ፣ ማለትም ስለ አስፈሪ ምናባዊ ዓለም በጻፈችው ልቦለድ ይሁን እንጂ ወደ ልቦለድ የመጣችው ከግጥም ነው። በኖቬምበር 1939 ኦታዋ፣ ካናዳ ተወለደች፤ የመጀመሪያዋ ትንሽ መድበል በ1961 ወጣች፤ «ዘ ሰርክል ጌም» የ1966ን የካናዳ ጠቅላይ ገዥ ሽልማት አገኘ። የመጀመሪያ ልቦለዷ የታተመው ከዚያ በኋላ፣ በ1969 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ልቦለዶቿን ብቻ አንብቦ ግጥሞቿን የተወ ሰው ሥራዋን በአንድ ዓይን ነው ያየው።

«ዘ ሃንድሜይድስ ቴል»ን መጻፍ የጀመረችው በ1984 ጸደይ፣ ግንቡ ሳይፈርስ ምዕራብ በርሊን ሳለች ነው። መጽሐፉ በ1985 ታተመ። ለራሷ ያወጣችው ሕግ ጥብቅ ነበር፤ የሰው ልጅ አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ ያላደረገውን ነገር ወደ ታሪኩ አታስገባም። የአርጀንቲና ጄኔራሎች ከእስረኛ እናቶች የቀሟቸው ሕፃናት፣ የናዚ ኤስኤስ የዘር ማራቢያ ፕሮግራም፣ የአሜሪካ ባርነት፣ የመጻሕፍት ቃጠሎ፣ የአደባባይ ስቅላት ሁሉም ከመዝገብ የተወሰዱ ናቸው። ጊልያድ የተባለው መንግሥት የቆመው በማሳቹሴትስ፣ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለበት በኬምብሪጅ ከተማ ነው። መውለድ የሚችሉ ሴቶች ለአዛዦች ይታደላሉ፤ ማስረጃ ተብሎ የሚጠቀሰውም ዘፍጥረት 30 ነው። መውለድ ያቃታት ራሔል ባሪያዋን ባላን ለያዕቆብ የሰጠችበት ምዕራፍ ነው። «ሃንድሜይድ» የሚለው ቃል ከዚያው የመጣ ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ቦታ «ባሪያ» ስለሚል፣ በአማርኛ የሚያስብ አንባቢ ርዕሱን ሲሰማ እንግሊዝኛው ያለሰለሰው ነገር ሳይለዝብ ይደርሰዋል።

መጽሐፍ ቅዱስን የሚያውቅ ሰው በዚህ ልቦለድ ውስጥ ከሌላው የበለጠ ያያል። የቤት ሠራተኞቹ ማርታ ይባላሉ፣ ከሉቃስ 10። የምግብ ሱቁ «ወተትና ማር»፣ የልብስ ሱቁ «የሜዳ አበቦች» ነው። ሴቶች ማንበብ ስለተከለከሉ በሱቁ ደጃፍ ላይ የቀረው የወርቃማ አበባ ቅርጽ ብቻ ነው፤ ከሥሩ የነበሩት ፊደላት በቀለም ተደፍነዋል፣ የተደፈኑበት ቦታ ግን ይታያል። አንድ ሙሉ ሥርዓት በአንድ የተቀባ ሰሌዳ! ከዚህም የሚከፋው የጥቅስ ማጭበርበሩ ነው። አክስቶች የሚባሉት አሠልጣኝ ሴቶች «ከእያንዳንዷ እንደ ችሎታዋ፣ ለእያንዳንዱ እንደ ፍላጎቱ» የሚል ቃል ያስጠኗቸውና የቅዱስ ጳውሎስ ነው ይሏቸዋል። የማርክስ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ እዚያው ይደነግጣል፤ «እንደ ችሎታዋ» እና «እንደ ፍላጎቱ» ላይ ጾታው መቀያየሩን ያስተዋለ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይደነግጣል። መጽሐፉን ራሳቸው ከፍተው እንዳያረጋግጡ የተከለከሉ ሴቶች ግን ምንም ማለት አይችሉም።

የተራኪዋ መጠሪያም ቅኔ ነው። «ኦፍሬድ» ሲከፈል «ኦፍ ፍሬድ»፣ የአዛዡ የፍሬድ ንብረት ማለት ነው፤ ሳይከፈል ሲደመጥ ደግሞ «ኦፈርድ»፣ ለመሥዋዕት የቀረበችን ሴት ያሰማል። ሌላ ቦታ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጣ «ቼር» የሚለውን ቃል ትፈታዋለች፦ የስብሰባ መሪ፣ የሞት ቅጣት መፈጸሚያ፣ የምጽዋት የእንግሊዝኛ ቃል («ቻሪቲ») የመጀመሪያ ክፍለ ቃል፣ በፈረንሳይኛ ሥጋ። ይህ አንቀጽ ለተርጓሚ ፈተና ነው። ቃል በቃል ከተተረጎመ ከንቱ ዝርዝር ይሆናል፤ መፍትሔው እንደ አማርኛ ቅኔ በሌላ አማርኛ ኅብረ ቃል መተካት እንጂ የግርጌ ማስታወሻ መደርደር አይመስለኝም። አዛዡ በድብቅ ወደ ክፍሉ ጠርቷት የሚጠይቃት የተከለከለ ነገር ስክራብል፣ የፊደል ጨዋታ መሆኑም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ፊደል በተከለከለበት አገር ውስልትናው ፊደል ነው።

አነባበብ ላይ የሚበላሹ ነገሮች አሉ። ትልቁ ስህተት መጨረሻ ላይ ያለውን «የታሪክ ማስታወሻ» አባሪ መስሎት የሚዘለው ሰው ነው። ያ ክፍል ልቦለዱ ራሱ ነው። ዘመኑ 2195 ነው፤ አንድ ፕሮፌሰር በጉባኤ ላይ ቆሞ፣ ያነበብነው ሁሉ በ30 ገደማ የድምፅ ካሴቶች ላይ እንደተገኘና ቅደም ተከተሉን እሱና ባልደረባው እንደገመቱት ይናገራል። ይቀልዳል፣ ታዳሚው ይስቃል። ከሴትዮዋ ሥቃይ ይልቅ አዛዡ ማን እንደነበር ማወቅ ነው የሚያጓጓው። ጊልያድ ከወደቀች በኋላም የእሷ ድምፅ በወንዶች እጅ እንደተደረደረ ስናውቅ ወደ ኋላ ተመልሰን ሁሉንም እንጠራጠራለን። ሌላው ስህተት በ2017 ከተጀመረው የቴሌቪዥን ድራማ መነሳት ነው። ድራማው ለተራኪዋ ጁን የሚል ስም ይሰጣታል። በልቦለዱ ግን እውነተኛ ስሟ በግልጽ አይነገርም፤ ጁን የሚለው በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ከተዘረዘሩት ስሞች ተነስተው አንባቢዎች የደረሱበት ግምት ነው፣ ደራሲዋም መጀመሪያ ያሰበችው እንዳልነበረ ተናግራለች። ስሙን አስቀድሞ ያወቀ አንባቢ ባዶውን ቦታ አይሰማውም። ፍጥነትንም ልብ ይበሉ፤ ከ15ቱ ክፍሎች 7ቱ «ሌሊት» የሚል ርዕስ አላቸው። ታሪኩ እዚያ ቆሞ ትዝታና ሐሳብ ይፈሳል። እየዘለለ የሚያነብ እነዚህን ነው የሚዘለው፣ የገጣሚዋ እጅ ከሁሉ በላይ የሚታየው ደግሞ እነሱ ላይ ነው።

የልቦለዱ ቀጣይ «ዘ ቴስታመንትስ» በ2019 ወጥቶ የቡከር ሽልማትን ከበርናርዲን ኤቫሪስቶ ልቦለድ ጋር ተጋራ። ታሪኩ ከ15 ዓመት በኋላ ነው፤ 3 ተራኪዎች አሉት። የአክስት ሊዲያ ክፍሎች በጣም ጥሩ ናቸው፤ ጨካኝ፣ ብልህ፣ እጇ ላይ ደም ያለባት አሮጊት ለራሷ ሒሳብ ስትሠራ እንሰማለን። የ2ቱ ልጃገረዶች ድምፅ ግን ቀለል ያለ ነው፣ ሴራውም ይቸኩላል። የመጀመሪያውን ጥልቀት ፈልጎ የሚመጣ ይከፋዋል። በድምፅ መጽሐፍ ማዳመጥ ለዚህ ሥራ ይጠቅመዋል፤ የሊዲያን ክፍል የምታነበው በድራማው ሊዲያን የተጫወተችው አን ዳውድ ናት።

«ማድአዳም» የሚባለውን ሌላውን የዲስቶፒያ ሦስትዮሿን በታተመበት ቅደም ተከተል ማንበብ ግድ ነው፦ «ኦሪክስ ኤንድ ክሬክ» 2003፣ «ዘ ይር ኦፍ ዘ ፍለድ» 2009፣ «ማድአዳም» 2013። ሁለተኛው የመጀመሪያው ቀጣይ አይደለም፤ ያንኑ ዘመን ከከተማው ድሆች ወገን ሆኖ ያየዋል፤ ቀጣይ ጠብቆ የገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ግራ ይጋባል። የኩባንያና የመድኃኒት ስሞቹ እንደ ማስታወቂያ የሚጣፍጡ፣ ሲደጋገሙ የሚያቅለሸልሹ ሆነው ተሠርተዋል፤ በጆሮ ነው የሚያዙት። በሁለተኛው መጽሐፍ «የእግዚአብሔር አትክልተኞች» የሚባለው ቡድን 14 መዝሙሮች አሉት። ብዙ ሰው ይዘላቸዋል፤ አይገባም። የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ዜማ ያላቸው፣ ስለ ትልና ስለ አረም የሚያመሰግኑ የዋህ ግጥሞች ናቸው፣ ጥፋቱን አስፈሪ የሚያደርገውም የዋህነታቸው ነው። ኦርቪል ስቶበር ዜማ ሠርቶላቸው በአልበም ወጥተዋል። ሦስተኛው ከሦስቱ ይላላል።

«ዘ ሃርት ጎዝ ላስት» (2015) መጨረሻ ይነበብ፣ ካልሆነም ይቅር። ነዋሪዎች 1 ወር በቤታቸው፣ 1 ወር በእስር ቤት የሚፈራረቁበት ከተማ ሐሳቡ ጠንካራ ነው፤ ሁለተኛው አጋማሽ ግን ቅጡን ያጣል።

አሁን ወደ ግጥሙ። «ዘ ሃንድሜይድስ ቴል» ለ2 ሰዎች መታሰቢያ ነው፦ የፒዩሪታኖችን፣ ማለትም ማሳቹሴትስን የመሠረቱትን ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ታሪክ በሃርቫርድ ላስተማራት ለፔሪ ሚለርና ለሜሪ ዌብስተር። ዌብስተር በ1680ዎቹ በማሳቹሴትስ፣ ሃድሊ በምትባል መንደር ጠንቋይ ተብላ በዛፍ የተሰቀለች፣ እንደ አንዱ ትረካ ሌሊቱን ሙሉ ተንጠልጥላ፣ ሲያወርዷት በሕይወት የተገኘች ሴት ናት። ልቦለዱ ከወጣ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1995ቱ «ሞርኒንግ ኢን ዘ በርንድ ሃውስ» መድበል ውስጥ አትውድ «ሃፍ ሃንግድ ሜሪ» የሚል ረጅም ግጥም ጻፈችላት። ግጥሙ በሰዓት ተከፍሏል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እስከ ጠዋቱ 2። መስመሮቹ በሌሊቱ 9 ሰዓት ክፍል እየተቆራረጡ፣ ሥርዓተ ነጥብ እየጠፋ እስትንፋስ ያጥራቸዋል። ልቦለዱን ጨርሶ በማግስቱ ይህን ግጥም ጮክ ብሎ ማንበብ የ30 ደቂቃ ሥራ እንኳ አይደለም፣ የጊልያድ ሥር ግን እዚያ ነው።

ቤት የሚመታ ግጥም የለመደ ጆሮ አትውድ ላይ መጀመሪያ ይቸገራል። ዜማዋ ያለው መስመሩ የሚሰበርበት ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ በየመስመሩ መጨረሻ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ለመጀመር የሚቀለው «ዲርሊ» (2020) ነው፤ ቋንቋው የጠራ፣ ሐዘኑ የተገራ፣ በ2019 ላረፈው የሕይወት አጋሯ ለግሬም ጊብሰን መታሰቢያ የሆነ። በውስጡ ስለ ፕላስቲክ ዘመን የተጻፉት ተከታታይ ግጥሞች ከሦስትዮሹ ጋር አብረው ቢነበቡ ያምራል። በ2024 የወጣው «ፔፐር ቦት» ከ1961 እስከ 2023 ከጻፈቻቸው ግጥሞች የተመረጡትንና አዳዲሶቹን በ1 ጥራዝ ይሰበስባል፤ አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው እሱን ይግዛ።

«ዘ ጆርናልስ ኦቭ ሱዛና ሙዲ» (1970) ግን ከተመረጡ ግጥሞች መድበል ውስጥ ተቆንጥሮ አይነበብም፣ ለብቻው መገዛት አለበት። ሙዲ በ1832 ከእንግሊዝ ወደ ካናዳ ጫካ የተሰደደች ጸሐፊ ናት። መድበሉ 3 ማስታወሻዎች አሉት፣ ሦስተኛው ከ1871 ተነስቶ 1969 ላይ ያበቃል። ሴትዮዋ በ1885 ሞታለች። ከመሃል የተቀነጨበ ግጥም ይህን አያሳይም፤ ከመጀመሪያው ገጽ አብሯት የመጣ አንባቢ ብቻ ነው መጨረሻው ላይ፣ በዲሴምበር ብርድ፣ ቶሮንቶ ውስጥ በሴንት ክሌር ጎዳና በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው አሮጊት ማን እንደሆነች የሚያውቀው።